የሳጥኑ ፋን

ላፕቶፕ ሲሞቅ የሚያሰማው ድምፅ አለ፤ መጀመሪያ ቀስ ብሎ እንደ ንብ ይላል፣ ከዚያ ከፍ ይላል። ያ ድምፅ በምሠራበት ክፍል ውስጥ በተሰማ ቁጥር እጄ ሥራውን ትቶ ይቆማል። ሌላ ሰው አያስተውለውም። እኔ ግን ያን ጊዜ ወደ አሥራ ሁለት ዓመቴ እመለሳለሁ፣ ሶዶ ወዳለው ቤታችን የፊት ክፍል፣ ወደዚያች ቅዳሜ ጠዋት። ሁላችንም ቤት የነበርንባት የመጨረሻዋ ጠዋት እሷ ነበረች።

ታላቅ ወንድሜ ታምራት በዚያ ክፍል ኮምፒዩተር ይጠግን ነበር። እኔ ኢሻ እለው ነበር፣ በወላይትኛ ወንድም ማለት ነው። በጋ ላይ ከጣውላ ትልቅ ሳጥን ሠርቶ የእንቁላል መፈልፈያ ሊያደርገው ተነሣ፤ ሁለት አምፖሎች ከውስጥ አሰረ፣ ከአሮጌ ኮምፒዩተር ያወጣውን ፋን በጎኑ ገጠመ። ፋኑን በቀጥታ ከኤሌክትሪኩ አዳፕተር ጋር ሲያገናኘው በኃይል እየነፈሰ ሙቀቱን ያባርረው ነበር። ሲያቆመው ደግሞ ከአምፖሉ ሥር ያሉት እንቁላሎች ይግሉና ጥግ ያሉት ይበርዳቸው ነበር። እንደዚያ እያለ ሠላሳውም እንቁላል ተበላሸ፣ ሽታው ለአንድ ሳምንት ከቤት አልወጣም።

እሱ ግን አልተወውም። የበልግ ዝናብ ሲጀምር፣ የፋኑን ፍጥነት የሚቆጣጠር መዳፍ የማትሞላ አረንጓዴ ሰሌዳ ከየት እንደሆነ እንጃ አገኘ። ሰሌዳዋ ላይ ማዞሪያ ነበረ፤ ወደ ግራ ሲዞር ፋኑ ቀስ ይላል፣ ወደ ቀኝ ሲዞር ይፈጥናል። ማታ ማታ አጠገቡ አስቀምጦኝ ካቻቢቴውን በእጄ እያስያዘ ያሳየኝ ነበር።

«ቀዩ ሽቦ መደመር ያለበት ቀዳዳ፣ ጥቁሩ መቀነስ ያለበት። ከተገላበጠ ይቃጠላል። ከረሳህ ጠይቀኝ፣ አትገምት» ይለኝ ነበር።

አዲስ እንቁላል አስገባን፣ እኔም በግድግዳው ላይ በእርሳስ ቀን መቁጠር ጀመርኩ። ጎረቤታችን እትዬ ወርቄ በበሩ ባለፉ ቁጥር ቆም ብለው ይቀልዱበት ነበር። ያን ቅዳሜ ጠዋትም መጡ።

«ታምራት፣ ኮምፒዩተርህ ስንት ወሯ ነው?»

«ሦስት ቀን ነው የቀራት እትዬ። ገንፎውን ያዘጋጁ እንጂ።»

እናቴ ከውስጥ ስትስቅ ተሰማኝ። እሱም እየሳቀ ወደ መዝሙር ልምምድ ሄደ፣ ሲወጣ «እስክመለስ አትንካው» አለኝ።

ነካሁት። ለምን እንደነካሁት አሁንም በደንብ መናገር አልችልም። በፋኑ ክንፎች ላይ አቧራ አይቼ፣ ሲመለስ ንጹሕ ሆኖ ሲያገኘው ደስ ይለዋል ብዬ መሰለኝ። ሽቦዎቹን ከሰሌዳዋ ፈትቼ፣ ፋኑን አውጥቼ በጨርቅ ጠረግሁት፣ ከዚያ መልሼ ላስር ስል ቀዩ የቱ ጋ እንደነበረ ጠፋኝ። ሰሌዳዋ ላይ የመደመር ምልክት ሁለት ቦታ ነበር፣ አንዱ ለአዳፕተሩ፣ አንዱ ለፋኑ፤ ምልክቶቹም ደቃቅ ነበሩ። ገመትኩ። መብራቱን ሳበራው አምፖሎቹ በሩ፣ ፋኑ ግን አልዞረም።

ማዞሪያውን ወደ ቀኝ አዞርኩ፣ ወደ ግራ አዞርኩ፣ ዝም። አቃጠልኩት ብዬ አሰብኩ። ቀጥሎ ያደረግሁትን ነው ለማንም ያልተናገርኩት፤ ስህተቴ እንዳይታይ ሽቦዎቹን እንደገና ፈታኋቸው። ታምራት ሲመለስ ፋኑ ጠረጴዛው ላይ ለብቻው ተቀምጦ ነበር።

«ምን ሆነ?»

«መብራት ሄዶ ሲመጣ ቆመ። እንዳይብስበት ብዬ ፈታሁት» አልኩት። መብራት በዚያ ሳምንት በእርግጥ ይመላለስ ነበር፣ ውሸቴ እውነት የሚመስለው ለዚያ ነው።

ፋኑን አንሥቶ ወደ አፍንጫው አስጠጋው። «የተቃጠለ አይሸትም እኮ» አለና አየኝ። እኔ ሳጥኑን አየሁ። እጁ ወደ ሰሌዳዋ ሄዶ ነበር፤ ይሞክረዋል፣ ይዞራል ወይም አይዞርም፣ ሁሉም ነገር ያልቃል ብዬ ጠበቅሁ። ግን ሳጥኑ ውስጥ የሰቀለውን ቴርሞሜትር ሲያይ ሙቀቱ ከፍ ብሎ ስለነበር ቸኮለ።

«በዴሳ ከተማ ያለው ጓደኛዬ የሞተ ኮምፒዩተር አለው፣ ፋኑን ይሰጠኛል። አንተ በየሩብ ሰዓቱ ክዳኑን ከፍተህ በካርቶን አራግብላቸው። ዛሬ እናታቸው አንተ ነህ» አለኝና ጃኬቱን ለብሶ ሞተር ሳይክሉን አስነሣ።

አራገብኩ። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ መጣ፣ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሌላ ምንም አይሰማም ነበር። ሰዓቱን እያየሁ ክዳኑን እከፍታለሁ፣ አራግባለሁ፣ እዘጋለሁ። ዝናቡ ባባሰ ቁጥር ይበልጥ እፈራ ጀመር፤ መጀመሪያ እንዳያውቅብኝ ነበር የፈራሁት፣ በኋላ ግን ምን እንደምፈራ ራሴም አላወቅሁም። ልክ ዝናቡ ሲያባራ ሁለት ሰዎች አባቴን በር ላይ ጠርተው ዝቅ ባለ ድምፅ አናገሩት። ታምራት ከበዴሳ ሲመለስ መንገዱ ላይ ሞተሩ አንሸራቶት ነበር። የእናቴን ድምፅ ሰማሁ፤ ያንን ድምፅ እዚህ አልጽፈውም። ቤቱ በሰው ሲሞላ፣ ሰዎቹ ሲያለቅሱ፣ እኔ ከሳጥኑ አጠገብ አልተነሣሁም። በየሩብ ሰዓቱ ክዳኑን እከፍት ነበር። የእኔ ሥራ ነው ብሎኝ ሄዷላ።

በማግስቱ ጠዋት ግቢ ውስጥ ድንኳን ይተክሉ ነበር። ጃኬቱን አምጥተው ከበሩ ጀርባ ሰቅለውት ነበር፣ ኪሱ ውስጥ በፌስታል የተጠቀለለ ፋን ነበረ። ልነካው አልቻልኩም። እንቁላሎቹ ደግሞ አየር ይፈልጋሉ፣ እጄም ካርቶኑን መያዝ አቅቶት ነበር። ስለዚህ የድሮውን አነሣሁ፣ ሰሌዳዋን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቼ ምልክቶቹን አንድ በአንድ አየሁ፣ ቀዩን መደመር ያለበት ውስጥ፣ ጥቁሩን መቀነስ ያለበት ውስጥ አስገብቼ በካቻቢቴው አጠበቅሁ። ከዞረ ታምራት በከንቱ ነው የሄደው፤ እንዳይዞር እየጸለይኩ አበራሁት።

ዞረ።

ምንም አልሆነም ነበር። ተገላብጦ ነበር እንጂ አልተቃጠለም። ድምፁ ክፍሉን ሞላው፣ አባቴም ከግቢ ሰምቶት በሩጫ መጥቶ በሩን በኃይል ከፈተው። ማንን አገኛለሁ ብሎ እንደሮጠ ፊቱ ላይ አየሁት። ያኔ ሁሉንም ነገርኩት፤ አቧራውን፣ ሽቦውን፣ መብራት ሄዶ መጣ ማለቴን። ቆሜ ነበር የነገርኩት፣ ይመታኛል ብዬ ጠብቄ።

ከውጭ መዶሻ ይሰማል፣ ከሳጥኑ ፋኑ።

«ቀድሜ፣ ‹በዴሳ ሄደህ አክስትህን ጠይቀህልኝ ና› ብዬው ነበር» አለ አባቴ። «ፋን ባይኖርም ይሄድ ነበር።»

ከዚያ ያንን ሳጥን ነክቶት የማያውቀው አባቴ ጎንበስ ብሎ እጁን ከፋኑ ፊት ያዘ።

«ፈጥኗል መሰለኝ። ይበርዳቸዋል፣ ቀንስላቸው።»

ማዞሪያውን ወደ ግራ አዞርኩ።

ጫጩቶቹ በሦስተኛው ቀን፣ ለቀስተኛው ገና ሳይበተን ወጡ። እትዬ ወርቄ ድምፃቸውን ሲሰሙ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ከክፍሉ ወጡ።

አሁን እኔም የሰው ኮምፒዩተር እጠግናለሁ። ያኔ ሳላይ ገምቼ አስር ነበር፤ አሁን ሽቦውን ሁለት ጊዜ ሳላይ አላስርም፣ አብረውኝ የሚሠሩት በዝግታዬ ይስቁብኛል። ያኔ የምፈራው ታምራት እንዳያውቅብኝ ነበር፤ አሁን የምፈራው ሌላ ነው። አክስቴ ከበዴሳ ለመስቀልና ለገና ትመጣለች፣ አጠገቤ ተቀምጣ ስለ ዝናቡና ስለ በቆሎው ታወራኛለች። አባቴ እንዳለው ያን ቅዳሜ ታምራት ቤቷ ገብቶ እንደሆነ እሷ ታውቃለች። አንድ ጊዜም አልጠየቅኋትም።