ለሰይድ ሁለት ዕድሜ የተሰጠበት ክረምት

እንዲጻፍልኝ የምፈልገው በደል ይህ ነው። ወንድሜ ሰይድ በአንድ ክረምት፣ በአንድ ሰው እጅ፣ ሁለት ዕድሜ ተሰጠው። አውሮፕላን ማብረር ልማር ሲል ልጅ ነህ ተባለ፤ ለጦር ሜዳ ሲፈለግ ግን አድገሃል ተባለ።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ የልጅ ልጄ ሐያት ናት። ባለፈው ወር ከበረራ ትምህርት ቤት ቅጽ ይዛ መጣችና፣ "እማማ፣ ዐሥራ ስምንት ካልሞላሽ አንቀበልም አሉኝ። አራት ወር ጎደለኝ" ብላ አኮረፈች።

"ደግ አደረጉ፤ ጠብቂ" አልኳት። ደንብ መኖሩን አልጠላም። ሰማይ ላይ የሚወጣ ሰው አጥንቱ ቢጠና ይሻላል። እኔን የሚያንገበግበኝ ደንቡ አንድ ቀን ተገትሮ በማግስቱ ሲታጠፍ ነው።

ያኔ ደርግ ነበር። የምንኖረው ኮምቦልቻ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙም ሳንርቅ ነው። አባታችን ሼህ እንድሪስ ልብስ ሰፊ ነበሩ። እናታችን ሰይድን ወልዳ ብዙ አልቆየችም፤ እኔ በሦስት ዓመት ስለምበልጠው ስድስተኛ ክፍል ላይ ትምህርቴን ትቼ ከአባቴ ጋር ቁልፍ መትከል ያዝኩ። ሰይድ ግን ተማረ። ማረፊያው ያኔ አጥር ስላልነበረው አውሮፕላን ሲመጣ ዘበኛው ከብቶቹን አባሮ እስኪጨርስ ከላይ ይዞር ነበር። ሰይድ ድምፁን ሲሰማ ምግቡን ጥሎ ሮጦ ከብት ያባርራል። አባቴ፣ "የሰው ልጅ ከብት ይጠብቃል፤ የእኔ ልጅ አውሮፕላን ይጠብቃል" እያሉ ይስቁበት ነበር።

ዐሥራ ሁለተኛን እንደጨረሰ፣ ሰኔ ላይ፣ ለአብራሪነት የሚሠለጥኑ ወጣቶች ይፈለጋሉ የሚል ማስታወቂያ ደሴ ወጣ። ዕድሜው ዐሥራ ስምንት የሞላ፣ ከቀበሌው ማስረጃ የሚያቀርብ ይላል። የሰይድ ጽሑፍ ዶሮ የጫረው ስለሚመስል ቅጹን የሞላሁት እኔ ነኝ። አባቴ ኪታባቸውን ከጨርቁ ፈትተው የመጨረሻውን ገጽ አወጡ። በእኛ ቤት ልደት የሚጻፈው እዚያ ነው፤ ዓመቱም የሚቆጠረው በሂጅራ ነው። ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩና፣ "በዚህ ሳምንት ዐሥራ ስምንት ሞላው፣ አልሐምዱሊላህ" አሉ። በሰማያዊ እስክሪብቶ "18" ብዬ ጻፍኩ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ኪታቡን አይቶ ፈገግ አለ።

"ሼህ እንድሪስ፣ ይህ የጨረቃ ዓመት ነው እኮ።"

"ታዲያ ጨረቃ ታብላለች?" አሉ አባቴ።

"አታብልም፤ ግን ትቸኩላለች። በየዓመቱ ዐሥራ አንድ ቀን ትቀድመናለች።" ወረቀት ስቦ አባዛ። መቶ ዘጠና ስምንት ቀን ወጣው። "ስድስት ወር ከዐሥራ ስምንት ቀን ይጎድለዋል። ለአውሮፕላን አንድ ቀንም አላጎድልም።" ከእኔ 18 ጎን በቀይ "17" ብሎ ጽፎ ፈረመ። ቅጹን መዝገቡ ውስጥ አስቀረው።

እውነት ለመናገር ልክ ነበር። ያኔ አልተቀየምኩትም።

ቢሆንም ሰይድ ልቡ አላርፍ ብሎት በማግስቱ ደሴ ወጣን። ሐረጎ ዳገት ላይ ጉሙ መንገዱን ውጦት፣ አውቶቡሱ በቀን መብራት አብርቶ ይሳባል። የሠልጣኞቹ መዝጋቢ ደግ ሰው ነበር፤ "ስድስት ወር ምን አላት? የሚቀጥለው ዓመት ና" አለው። ስንመለስ ሰይድ በለስ ገዛ። በደስታ እሾሁ በደንብ ሳይራገፍ ጎርሶ፣ ኮምቦልቻ እስክንደርስ ከንፈሩን ስነቅልለት ዋልኩ። "እታለም፣ አብራሪ ስሆን መጀመሪያ የማሳፍረው አንቺን ነው" አለኝ።

"መጀመሪያ በለስ መብላት ተማር" አልኩት።

ነሐሴ ላይ ለብሔራዊ ውትድርና የተመለመሉት ስም በቀበሌው ስብሰባ ተነበበ። ዕድሜ ዐሥራ ስምንትና ከዚያ በላይ ተባለ። የመጨረሻው ስም የሰይድ ነበር። ጭቃውን እየረገጥኩ ሊቀመንበሩ ቢሮ ገባሁ።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ በሰኔ አባዝተው ነግረውናል። ገና አራት ወር ከግማሽ ይቀረዋል።"

መዝገቡን ከፍቶ ቅጹን አወጣ። ቀዩን ወደ ኋላ አጥፎ ከመዳፉ ሥር አደረገው።

"ይህ የማን ጽሑፍ ነው?"

"የእኔ።"

"ምን ይላል?"

"ዐሥራ ስምንት። በቀይ የጻፉትንስ?"

"አባትሽ በኪታባቸው የመሰከሩትን እኔ ልሰርዝ?" አለና መዝገቡን ዘጋው።

ሰይድን የጫነው መኪና በዝናብ ወጣ። ከሥልጠና ቦታ አንዲት ደብዳቤ መጣች፤ "ሌላው ሁሉ ትልቅ ሰው ነው" ትላለች። ከዚያ ወዲያ ምንም። ደርግ ወድቆ የተረፉት ሲመለሱ፣ አባቴ ሱቁን ክፍት አድርገው መንገድ መንገድ ሲያዩ ከረሙ። መርዶው የመጣው በኋላ ነው። አባቴ ኪታቡን ከጨርቁ መፍታት ተዉ፤ የእኔ ልጆች ሲወለዱ ቀናቸውን አልጻፉም። ለምን ብላቸው፣ "ቆጥሬ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ" አሉኝ። ሐቁን ልናገር፣ ቁጥሩን የጻፈው የእኔ እጅ ነው፤ ይህን ግን እስኪሞቱ አላልኳቸውም።

የሐያትን ቅጽ ካየሁ በኋላ እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ያ ሊቀመንበር ደሴ፣ ልጁ ቤት እንደሚኖር አውቃለሁ። ስሙን አልጽፍም፤ ልጆቹ አልበደሉኝም። ባለፈው ሐሙስ ሄድኩ። ጋቢ ለብሶ ፀሐይ ይሞቃል፤ ዓይኑ ደክሟል። የማን ልጅ እንደሆንኩ ነገርኩት።

"ልጣላ አልመጣሁም" አልኩት። "አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። በሰኔ አንድ ቀን አላጎድልም ያሉ ሰው፣ በነሐሴ እንዴት ቆጠሩ?"

ጋቢውን ወደ አንገቱ ሳበ።

"እታለም፣ የአውሮፕላኑ ሰዎች ማስረጃውን መልሰው ይመረምሩ ነበር፤ አንድ ቀን ብሳሳት እጠየቃለሁ። የጦሩ ሰዎች የጠየቁኝ ሃያ ሰው ሞላ ወይ ብለው ብቻ ነው። ሰይድ ሃያኛው ነበር።"