የወይዘሮ አስካለማርያም የቤት ሥራ

ወይዘሮ አስካለማርያም በስድሳ ስምንት ዓመታቸው በሳምንት አንድ የእንግሊዝኛ ግስ ይማሩ ነበር። ትምህርቱ ቅዳሜ በአራት ሰዓት፣ አውስትራሊያ፣ ሜልቦርን፣ ኬንሲንግተን ሰፈር፣ የሚኖሩበት ሕንፃ ሥር ባለው የነዋሪዎች አዳራሽ ነው። አስተማሪው ጋሼ ጌታቸው ናቸው፤ አገር ቤት የእንግሊዝኛ መምህር፣ ሜልቦርን ታክሲ ነጂ፣ አሁን ጡረተኛ። ደንባቸው አይለወጥም። ሰሌዳው ላይ አንድ ግስ ይጽፋሉ፤ ከሥሩ ትርጉሙን፣ አገባቡንና ተመሳሳዮቹን። ተማሪው በሳምንቱ ውስጥ ግሱን አሥር ጊዜ ለሰው ተናግሮ፣ የትና ለማን እንደተናገረው በደብተሩ ጽፎ ይመለሳል። መስታወት ፊት የተባለ አይቆጠርም።

በፈረንጆቹ 2014፣ ዐቢይ ጾም በገባ ሰሞን፣ ተራው የማኔጅ ሆነ። ጋሼ ጌታቸው አንድ የአማርኛ ቃል አላገኙለትም። ሱቅ ማኔጅ ማድረግ ማስተዳደር ነው። በጡረታ ገንዘብ ማኔጅ ማድረግ ማብቃቃት ነው። ከባድ ሻንጣ ይዞ ደረጃውን ማኔጅ ማድረግ ደግሞ እንደምንም መወጣት ነው። ተመሳሳዮቹን ጻፉ፦ ኮፕ፣ ሃንድል፣ ጌት ባይ። ከኋላ የተቀመጡት አቶ ኦላና ሚስትስ ማኔጅ ትደረጋለች ወይ ብለው ጠየቁ። ጋሼ ጌታቸው ሞክረው ውጤቱን ለክፍሉ እንዲያቀርቡ አዘዟቸው።

ወይዘሮ አስካለማርያም ግሱን ወደዱት። ሃያ ሁለት ዓመት ከተማ መሃል ቢሮ ሲያጸዱ፣ ልጅ ሲያሳድጉ፣ ሲያብቃቁ የኖሩት ሁሉ ስም ያገኘ መሰላቸው።

የዚያ ሳምንት ሐሙስ እንግዳ ነበረባቸው። በገና ሰሞን መታጠቢያ ቤት ውስጥ ተንሸራተው ወድቀዋል፤ ቀኝ ጉልበታቸው ከዚያ ወዲህ አልታጠፍ ብሏል። ሰንሻይን ዌስት የሚኖረው ልጃቸው ሔኖክ ቁርጡን ነግሯቸዋል። የአረጋውያን አገልግሎት የመታጠቢያ ቤት መደገፊያ ብረትና ቤት የሚያጸዳ ሰው ከሰጣቸው እዚሁ ይቆያሉ። ካልሰጣቸው ከፋሲካ በኋላ እሱ ቤት ይገባሉ። ሰንሻይን ዌስትን አይጠሉትም። ግቢው ሰፊ ነው፣ ምራታቸውም ጥሩ ሰው ናት። ግን ጠዋት ሁሉም ሥራ ሲወጣ ቤቱ እስከ ማታ ጭር ይላል፤ አውቶቡሱም ደስ ሲለው ነው የሚመጣው። እዚህ ሊፍት ውስጥ ብቻ በቀን ስምንት ሰው ሰላም ይላሉ። መሄድ አልፈለጉም።

ሐሙስ ሄዘር የምትባል ገምጋሚ ቅጽ ይዛ መጣች። ወይዘሮ አስካለማርያም ለእንግዳ የሚደረገውን አድርገው ጠበቋት። ከዋዜማው ጀምረው፣ በአንድ እጃቸው ግድግዳ እየተደገፉ፣ ቤቱን ከጥግ እስከ ጥግ ወልውለዋል። ድፎ ዳቦ ጋግረዋል። በስልክ አስተርጓሚ ላቅርብ ብትላቸው አይሆንም አሉ። በአስተርጓሚ የተባለ ለቤት ሥራው አይቆጠርም።

ሄዘር ስለ ምግብ ማብሰል ጠየቀች። አይ ማኔጅ አሉ፣ እወጣዋለሁ ለማለት። ስለ ገበያ ጠየቀች። አይ ማኔጅ። ልብስ ማጠብ፣ ደረጃ፣ ገላ መታጠብ፤ አይ ማኔጅ፣ አይ ማኔጅ፣ አይ ማኔጅ። ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ ጥሩዎቹ ስኒዎች ላይኛው መደርደሪያ ላይ መሆናቸው ትዝ አላቸው። ወንበር ሳቡ፤ ጉልበታቸውን በእጃቸው አንሥተው ወጡና አወረዱ። ሄዘር ደንግጣ ብድግ ስትል ስምንተኛውን ከወንበሩ ላይ ሆነው ተናገሩ። ሁለት ቁራሽ ዳቦ በላች፤ ሦስተኛውን ጠቅልለው አስያዟት። በር ላይ ሲሸኟት አሥሩም ሞላ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ደብዳቤ መጣ። ሔኖክ ነው ያነበበው።

«በሚገባ ማኔጅ ያደርጋሉ፣ እርዳታ አያስፈልጋቸውም ይላል። እማዬ፣ ምን ብለሻት ነው?»

«የቤት ሥራዬን ነው የሠራሁት።»

ሔኖክ እስኪበቃው ሳቀ። ከዚያ ጋራዡን መኝታ ቤት ሊያደርግላቸው ስለሆነ ግድግዳው ምን ዓይነት ቀለም ይሁን ብሎ ጠየቃቸው።

ቅዳሜ ደብተራቸውን ለክፍሉ አነበቡ። አሥር ጊዜ፣ አሥሩም ለሄዘር። ቀጥለውም የደብዳቤውን ነገር ተናገሩ። ሰዉ ሳቀ፤ ወይዘሮ አስካለማርያምም ሳቁ። ጋሼ ጌታቸው አልሳቁም። ሰሌዳውን አጥፍተው፣ ሰው እስኪወጣ ጠብቀው፣ ግምገማው እንዲደገም የሚጠይቀውን ማመልከቻ በእጃቸው ጻፉላቸው።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። «ትርጉሙን አስተማርኩ፤ የሰማው ሰው ምን እንደሚያደርግ አላስተማርኩም። እኛ ደህና ነኝ ስንል ሰው ሦስቴ ይጎተጉተናል፣ በሦስተኛው እውነቱን እንናገራለን። እነሱ አንዴ ይጠይቁና ይጽፉታል።»

አዲስ የቤት ሥራ ሰጧቸው። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ አይ ካንት ማኔጅ። አንድ ጊዜ ለሄዘር ከተባለ ይበቃል። ከቀጠሮው በፊት ሦስት ቀን ደግሞ ቤት አይጠረግም፣ ሳህን አይታጠብም፣ ለእንግዳዋም የሚቀርብ ነገር አይኖርም።

«ምንም?»

«ውሃ ከጠየቀች ውሃ።»

«ከዚህ ወጥታ ስሜን ምን ብላ ልታነሣው ነው?»

«ቅጹ ላይ ታንሣው እንጂ፣ ወይዘሮ አስካለማርያም።»

ማመልከቻው ተቀባይነት አግኝቶ ቀጠሮው ሲቃረብ፣ ሦስቱ ቀናት ከጾሙ ከበዷቸው። ለሳህኖቹ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀመጡ። ዓረፍተ ነገሩንም ለብቻቸው ሲለማመዱት አልሆነላቸውም። በሕይወታቸው አልችልም ብለው የሚያውቁት ለሥጋ ቤት ብቻ ነው፣ ዋጋ ሲከራከሩ።

በቀጠሮው ቀን ጠዋት ጉልበታቸውን ለማሳየት ሐኪም ቤት ሄዱ። ቁልፋቸው ከታች ፎቅ የምትኖረው ፈጡማ ዘንድ ነው። ፈጡማ የጾም ምስር ልታስቀምጥላቸው ገባች፤ ያየችውን ማመን አቃታት። እትዬ አስካለ ሳህን አሳድረው አያውቁም። አንድ ነገር ሆነዋል ብላ ዘውዲን ከሦስተኛ ፎቅ ጠራች። ሁለቱ እጅጌያቸውን ሰብስበው ሳህኑን፣ ወለሉን፣ ምድጃውን፣ መታጠቢያ ቤቱን አጸዱት፤ መጋረጃውን ሳይቀር አውርደው አጥበው ሰቀሉት።

ወይዘሮ አስካለማርያም ከጋሼ ጌታቸው ጋር ተመልሰው በሩን ሲከፍቱ ቤቱ ያበራል። ፈጡማ መጥረጊያ ይዛ ቆማለች። ጋሼ ጌታቸው ሶፋው ላይ ተቀምጠው ራሳቸውን ያዙ።

«ምነው፣ ጋሼ? ደግ ሠራሁ እኮ» አለች ፈጡማ።

ሊያስረዷት ጊዜ አልነበረም። የበሩ ደወል ጮኸ።

ሄዘር ዙሪያውን አየች፤ ደብዳቤውንም አስታወሰች። ቤቱ እንደ ባለፈው ንጹሕ ነው አለች፤ ታዲያ የተለወጠው ምንድን ነው? መልስ ሳትሰማ ተቀመጠች። ጠረጴዛው ባዶ ነው። ወይዘሮ አስካለማርያም ባዶውን ጠረጴዛ አዩ፤ ስኒዎቹ ያሉበትን መደርደሪያ አዩ፤ እጃቸው ወደ ወንበሩ ሄደ። ጋሼ ጌታቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ወይዘሮ አስካለማርያም ወንበሩን ሳቡት። ሳቡትና ተቀመጡበት።

«ፈጡማ» አሉ፣ «ስኒዎቹን አንቺ አውርጂልኝ።» ከዚያ ወደ ሄዘር ዞሩ። «አይ ካንት ማኔጅ።»

አንዴ ከወጣ በኋላ ሌላው ተከትሎ መጣ። በዚህኛው ጊዜ አስተርጓሚ በስልክ ነበር፤ ሁሉንም አስተረጎመ። መታጠቢያ ቤት መውደቃቸውን፣ ባለፈው ቤቱን ለማጽዳት ሁለት ቀን እንደፈጀባቸውና ሦስት ቀን እንዳስተኛቸው፣ ዛሬ ያጸዱት ጎረቤቶቹ መሆናቸውን። ሄዘር ፈጡማን ይህን ዘወትር ታደርጊያለሽ ወይ ብላ ጠየቀቻት። ፈጡማ ቆሻሻውን የምታወርደው፣ ከባድ ዕቃ ከገበያ የምታመጣው እሷ እንደሆነች ተናገረች፤ እትዬ አስካለ ግን ይህን እንደ እርዳታ ስለማይቆጥሩት አይነግሩሽም አለች። ሄዘር ረጅም ጻፈች። ከዚያ ዳቦው ዛሬ የለም ወይ ብላ ጠየቀች። ወይዘሮ አስካለማርያም በኀፍረት መሬት አዩ። ፈጡማ ሮጣ ከቤቷ ብስኩት አመጣች።

ብረቱ ከፋሲካ በፊት ተተከለ። የምታጸዳዋ ሴት በየሁለት ሳምንቱ ረቡዕ ትመጣለች። ሔኖክ የገዛው ክሬም ቀለም ቆርቆሮው ሳይከፈት ጋራዡ ውስጥ ተቀምጧል።

ወይዘሮ አስካለማርያም አሁንም ማክሰኞ ማታ ሳህናቸውን አጥበው፣ የሚደርሱበትን ያህል ይጠርጋሉ፤ በማግስቱ ሰው ይመጣላ። ጋሼ ጌታቸው ይህን ሲሰሙ ሌላ የቤት ሥራ ሊሰጧቸው አሰቡና ተዉት።