ነጭ ክር የታሰረባቸው ወፎች

ሥራ በጀመርኩበት ቀን ጠመንጃ ፊት ሮጬ ልሞት ለጥቂት ተርፌያለሁ። ያውም ለአንድ ወፍ ብዬ። አሁን የአደን ፈቃድ አውጥታችሁ ጫካ የምትገቡ የሪንከቢ ልጆች ስትስቁብኝ ይታየኛል። ሳቁ፣ ግን ስሙኝ።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ሲጀምሩ ነው፤ ስዊድን ገብቼ ሪንከቢ ሰፈር ከተቀመጥኩ ብዙም አልቆየሁም። ቋንቋውን እንደ ነገሩ ይዤ ነበር። የሥራ ማፈላለጊያ ቢሮ ያለችው ሴትዮ አገርህ ምን ትሠራ ነበር ብላ ጠየቀችኝ። ኮምቦልቻ ከብት እነግድ ነበር አልኳት። እሷም ከእንስሳ ጋር የሚያውል ሥራ አለ ብላ አንድ ወረቀት ሰጠችኝ። በማግስቱ ፔንደልቶግ በሚሉት የከተማ ዳር ባቡር ሄጄ ኡፕላንድስ ቬስቢ ወረድኩ። ጣቢያው በር ላይ ጭቃ በጭቃ የሆነች ፒክአፕ ቆማለች። መሪውን የያዘው ስልሳ ዓመት የሚጠጋው ቀጭን ሰው ነው፤ ከኋላው ጥቁር ውሻ ተቀምጣለች። ሰውየው ስቲግ፣ ውሻዋ ሚራ ይባላሉ።

ስቲግ የአንድ ትልቅ ርስት ቪልትሜስታሬ ነበር። የርስቱን ጫካና አውሬ ይጠብቃል፤ እንግዶች ከፍለው ለአደን ሲመጡ አደኑን የሚመራው እሱ ነው። ከእሱ በላይ ያለው ባለርስቱ ብቻ ነው። ከእሱ በታች ሁለት ቋሚ ሠራተኞች አሉ፣ ከእነሱ በታች ወፍ ነጂዎች። እኔ ወፍ ነጂ ሆኜ ገባሁ። ከእኔ በታች ውሻዋ ነበረች፤ እሷም ብትሆን ሥራውን ከእኔ አሳምራ ታውቀው ነበር። እዚህ አገር አለቃም አንተ ነው የሚባለው፤ እኔም አንተ እለው ነበር። አፌ እስኪለምደው ግን ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ።

የሚታደነው ፋሳን ነው። ለማያውቀው፣ የጅግራ ዘመድ ነው፤ ዶሮ ያክላል፣ አውራው ጅራቱ ረጅም ነው። ነጂዎች በአንድ መስመር ተሰልፈን ዛፉን በዱላ እየመታን እንሄዳለን። ወፎቹ ከፊት ከፊታችን ይሮጡና የጫካው ጫፍ ላይ ሲደርሱ ይነሣሉ። ማዶ ላይ አዳኞቹ ቁጥር በተጻፈባቸው ችካሎች አጠገብ ቆመው ይጠብቃሉ። የነጂ ሕጉ አንድ ነው፤ መስመር አትልቀቅ። ስቲግ ይህን ሦስት ጊዜ ነገረኝ፣ ሦስቱንም ጊዜ እሺ አልኩ።

በመጀመሪያው ዙር አንድ አውራ ፋሳን ከፊት ለፊቴ ወደቀ። ክንፉ ተሰብሯል፣ ነፍሱ ግን አለች፤ ይንፈራገጣል። እኔ ያደግኩት ሳይታረድ የሞተ ሁሉ በክት ነው በሚባልበት አገር ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም በዚህ አይለያይም። ይህን የመሰለ ወፍ ዓይኔ እያየ በክት ሊሆን! ሕጉም መስመሩም ከራሴ ውስጥ ጠፋ። ሰንጢዬን መዝዤ፣ ቢስሚላህ ብዬ ሮጥኩ።

ጩኸት በጩኸት ሆነ። አራተኛው ችካል ላይ የቆሙት አሮጊት አፈሙዛቸውን ወደ ሰማይ አነሡና እዚያው ሣሩ ላይ ቁጭ አሉ። ጣታቸው ምላጩ ላይ እንደነበረ በኋላ ነገሩኝ። ወፉ ደግሞ እኔን ሲያይ ተነሥቶ በእግሩ ሮጠና ሐይቁ ዳር ያለው ሸምበቆ ውስጥ ገባ። ፊሽካ ተነፋ፣ አደኑ ቆመ።

ስቲግ ቀስ ብሎ መጣ። ወደ ቤትህ ሂድ ሊለኝ ነው ብዬ ዱላውን ለማስረከብ እጄን ዘረጋሁ። ለምን እንደሮጥኩ ጠየቀኝ። ሳይታረድ ከሞተ አይበላም፣ ስለዚህ ለመድረስ ነው አልኩት በተሰባበረ ስዊድንኛ። ሰንጢውን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ የሚራን ገመድ እጄ ላይ አስቀመጠ።

"ወፉን ያስነሣኸው አንተ ነህ። እስኪገኝ ድረስ ያንተ ነው" አለኝ።

ሸምበቆው ውስጥ እስከ ጉልበቴ ውኃ ገብቼ ፈለግኩ። የምሳ ሰዓት መጣ፣ አለፈ። እግሬ ደነዘዘ፤ ስቲግንም ወፉንም ቢሮ ያለችውንም ሴትዮ በልቤ ረገምኩ። በመጨረሻ ሚራ አንድ የዛፍ ሥር አጠገብ ቆመችና አጎነበሰች። ወፉ በሕይወት ነበር። አረድኩትና ይዤው ወጣሁ።

ምሳ ቤቱ ስደርስ ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ያ ሁሉ እንግዳ፣ አሮጊቷም ባለርስቱም ጭምር፣ ወንበራቸውን ትተው ቆመዋል። ሾርባው ቀዝቅዟል። የስቲግ ደንብ እንዲህ ነበር፤ የቆሰለ ወፍ ሳይገኝ ማንም አይቀመጥም። ወፉን ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥ ሁሉም ተቀመጡ። አገሬ ላይ ሰው ለሙሽራ እንጂ ለወፍ ምሳ ሲያቆይ አላየሁም። አፈርኩ፤ ደስም አለኝ።

ስቲግ አላባረረኝም። ይልቁንስ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ከነጂዎች አውጥቶ ከአዳኞች ጀርባ ከሚራ ጋር አቆመኝ። የወደቀውን ማንሣት፣ የቆሰለውን መፈለግ ሥራዬ ሆነ። በሕይወት የመጣውን በሰንጢህ ጨርሰው፣ እኔም የምፈልገው ቶሎ እንዲያርፍ ነው አለኝ። ውሻ ነክቼ ቤት ስገባ ባለቤቴ ዘይነባ በሩ ላይ አስቁማ ልብሴን ታስወልቀኝ ነበር። ታጥቤ ነው የምሰግደው፤ ለምደነዋል።

ሌላውን ከስቲግ አጠገብ ሆኜ ተማርኩ። በየዙሩ ከችካሎቹ ሠላሳ እርምጃ ቆጥሮ ዛፍ ላይ ቀይ ጨርቅ ያስራል፤ ከዚያ ማዶ አይተኮስም፣ ምክንያቱም ከሩቅ የተተኮሰ የጥይት እርሳስ ያቆስላል እንጂ አይገድልም። ዝቅ ብሎ በሚበር ላይ አይተኮስም፣ ነጂና ውሻ አለ። መሬት ላይ ያለ ወፍ ደግሞ በፍጹም አይነካም። ምነው፣ በቀላሉ ይገኝ የለ ወይ ብዬ ጠይቄው ነበር። ለወፉ ያለችው ዕድል ክንፉ ነው፣ እሷን ከነጠቅነው ዶሮ ማረድ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ጠመንጃ አያስፈልግም አለ። መልሱ ገባኝ።

ከእያንዳንዱ አደን በኋላ ለሠራተኛ ወፍ ይታደል ነበር። እኔ በእጄ ባረድኳቸው እግር ላይ ነጭ ክር አስራለሁ፤ ሞተው ከመጡት እንዳይቀላቀሉ ነው። ክር ያለባቸውን ሪንከቢ ወስጄ ለጎረቤት አካፍላለሁ። ከሁሉ በላይ የሚጠብቁኝ ሼህ እንድሪስ ነበሩ። የደሴ ሰው ናቸው፣ በእድሜ አባቴ ይሆናሉ፣ ከእኛ ሁለት ፎቅ በላይ ይኖራሉ። የሱቁን ሥጋ ማን እንዳረደው ሳላውቅ አልበላም ብለው በምስርና በዓሣ ነው የኖሩት። ወፍ ሳመጣላቸው ሁልጊዜ ይህችኑ ይጠይቁኛል፤ ክሩን ያሰርከው አንተ ነህ? አዎ እኔ ነኝ እላለሁ። ሌላ ጥያቄ የለም፣ ይቀበሉኛል።

በሦስተኛው ዓመት መከር ሼህ እንድሪስ ታመው ከሆስፒታል ወጡ፤ ከስተው ጉንጫቸው ገብቷል። ቅዳሜ ወፍ አመጣልዎታለሁ አልኳቸው። ቅዳሜ አዳኞቹ ጎበዞች ነበሩ፤ አንድም በሕይወት የመጣ የለም። ባዶ እጄን መሄድ አቃተኝ። ሁለት ሞተው የመጡ ወፎች አነሣሁ፣ አንገታቸውን ቆረጥኩ፣ ነጭ ክር አሰርኩባቸው። ክሩን ያሰርከው አንተ ነህ አሉኝ። አዎ አልኩ። እውነት ነው፣ ያሰርኩት እኔ ነበርኩ። ያን ሌሊት እንቅልፍ ወሰደኝ፣ የሚገርመኝ እሱ ነው።

በሳምንቱ የልጅ ልጃቸው የጋብቻ ኒካህ ነበር። ስምንት ወፍ ቃል ገብቼ ነበር። በዋዜማው አደን እስከ ከሰዓት በኋላ ድረስ አምስት ወፎች ብቻ በሕይወት መጡልኝ። ከመጨረሻው ዙር በፊት ወፎቹ የሚሰቀሉበት ክፍል ገብቼ ሦስት የሞቱ ወፎች ላይ ክር አሰርኩ። አንዴ የለመደ እጅ ነው።

የዚያን ቀን እንግዳ ቶርስተን የሚባል ነጋዴ ነበር። በዓመት ሦስት የአደን ቀን ለደንበኞቹ ይገዛል፤ ባለርስቱ እሱ ሲመጣ በር ድረስ ወጥቶ ይቀበለዋል። በመጨረሻው ዙር አንዲት ወፍ ሳትበር በቁጥቋጦው ሥር ሮጠች። ቶርስተን አፈሙዙን ዝቅ አድርጎ እዚያው መሬት ላይ ተኮሰባት። ሚራ ከወፏ ጀርባ አሥር እርምጃ ላይ ነበረች። ጮኸች። ሄጄ ሳያት አንድ እርሳስ ጆሮዋን በስቷታል።

ተሰበሰብን። ቶርስተን ወፏ ስትነሣ ነው የመታኋት፣ ውሻዋ ናት ከቦታዋ የወጣችው አለ። ከእኔ በቀር ያየ የለም። ባለርስቱ መሬት መሬት ያያል፤ ሦስት የአደን ቀን ማጣት አልፈለገም። ነገሩ ገባኝ፣ የኔም የክረምት ሥራ የሚቆመው በነዚያ ቀኖች ላይ ነው። ስቲግ ወደ እኔ ዞረ።

"ሰይድ፣ ወፏ አየር ላይ ነበረች?"

"መሬት ላይ ነበረች" አልኩ። "እየሮጠች ነበር።"

ቶርስተን ሳቀና፣ ይህ ሰው ምን ያውቃል፣ ትናንት የመጣ አይደለም እንዴ አለ። ስቲግ ጠመንጃውን ከእጁ ተቀበለው፣ ከፈተው፣ ጥይቶቹን አውጥቶ መዳፉ ላይ መለሰለት። ያንተ አደን አብቅቷል አለው። ከዚያ ለሁሉም እንዲሰማ አድርጎ ተናገረ።

"ይህ ሰው ሆነ ካለ ሆኗል። እኔ የሱን ቃል አልቆጣጠርም።"

አንድ ሰው ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። የመጀመሪያው ቀን አሮጊትም እዚያ ነበሩ፣ እጄን ጨበጡኝ። ወላሂ፣ በሕይወቴ እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም። ሄጄ ወፎቹ የሚሰቀሉበትን ክፍል ከፈትኩ። ሦስቱ ወፎች ነጭ ክራቸውን አስረው ተሰቅለዋል። ቶርስተንን ውሸታም እያልኩ በልቤ ስሰድብ፣ የኔው ውሸት እዚህ ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ ይጠብቀኝ ነበር። ሦስቱንም ክር በሰንጢ ቆረጥኩ። ያለፈው ሳምንት ሁለቱ ግን ተበልተው አልቀዋል።

በማግስቱ አምስት ወፍ ይዤ ሼህ እንድሪስ ቤት ወጣሁ። ቤቱ ለኒካሁ ሽር ጉድ እያለ ነው። ወደ ጓዳ ይዘውኝ ገቡ። እንደ ልማዳቸው ሊጠይቁኝ አፋቸውን ሲከፍቱ ቀደምኳቸው።

"እነዚህን አምስቱን በሕይወት አርጃቸዋለሁ። ባለፈው ያመጣሁልዎት ሁለቱ ግን ሞተው የመጡ ናቸው። ዋሽቼዎታለሁ።"

በሩ ማዶ የሴቶች ሳቅ ይሰማል።

"እኔ ሳላውቅ በልቻለሁ፣ አላህ አይጠይቀኝም" አሉ። "አንተ ግን ለምን? ባዶ እጅህን ብትመጣ አልቀበልህም ነበር?"

ወፎቹን መልሰው ሰጡኝ። እነዚህን ለቤትህ ውሰድ፣ ከእንግዲህም አታምጣልኝ፣ ሰላምታህን ግን እንዳታቋርጥ አሉኝ። ከዚያ እጄን ይዘው ሳሎን አገቡኝና ከእንግዶቹ ጋር አስቀመጡኝ። ለሰውም አልነገሩብኝም። ይህ ከስድብ የባሰ ነበር።

ቶርስተን ተመልሶ አልመጣም። ባለርስቱ የአደን ቀኖቹን ቀነሰ፤ እኔም ከገና እስከ ፀደይ ሥራ ፈትቼ ቤት ተቀመጥኩ። ስቲግ አንድ ቀን ደወለ። የሚራ ጆሮ ዳነ አለኝና ስልኩን ዘጋ። በረዶው ሲሟሟ መልሶ ጠራኝ። ያኔ ስለ ክሮቹ ነገርኩት። ሰማኝና ወፎቹ የሚመገቡበትን የእህል በርሜል እንድሞላ ላከኝ።

ከዚያ በኋላ ሦስት መከር ወፍ ይዤ ወደ ሼህ እንድሪስ ደጅ አልወጣሁም። ሰላምታ ግን አንድም ቀን አላቋረጥኩም። ዘይነባ ታዝንልኝ ነበር፤ አልፎ አልፎም ይበልህ ትለኛለች። በአራተኛው መከር፣ አንድ እሑድ ጠዋት ስልክ ተደወለ።

"ሰይድ፣ ወፍ አለህ?" አሉ ሼህ እንድሪስ።

"አለኝ።"

"ክር ያለባት?"

"አንዲት አለች።"

"አምጣት።"

ሁለቱን ፎቅ በሩጫ ወጣሁ። በሩን ከፍተው ወፏን ተቀበሉኝ። ክሩን ማን እንዳሰረው አልጠየቁኝም። እንባዬ መጣ፣ አልደበቅኳቸውም።

ኋላ የአዳኝነት ፈተናውን አልፌ የራሴን ጠመንጃ ያዝኩ፤ ስቲግ ጡረታ ሲወጣም ቦታውን እኔ ወሰድኩ። እናንተ ልጆች፣ ጫካ ውስጥ ዳኛ የለም። መሬት ላይ ባለ ወፍ ላይ አትተኩሱ። ከሠላሳ እርምጃ ማዶ አትተኩሱ። ያቆሰላችሁትን ሳታገኙ ምሳ አትቀመጡ። ያላረዳችሁት ላይ ክር አትሰሩ፣ ባዶ እጃችሁን ግቡ።