የባሮ ዳሩ መጋዘን ጢስ

ወንዙን ከደጋ አውርዶ ቆላውን የሚያጠጣ፣ ያረጀውን የማይንቅ፣ የፈረሰውንም የሚያንጽ እግዚአብሔር ስሙ ይመስገን። ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ በጋምቤላ ከተማ በባሮ ዳር የቆመው አሮጌ መጋዘን፣ ከእርሱም ጋር በበሩ አጠገብ ባለችው የዘበኛ ክፍል ዕድሜዋን የኖረች አንዲት ሴት ናት። ከተማችን ታሪኳንና የቀድሞ ሕንፃዎቿን የሚጠብቅ ኮሚሽን አቁማ መጋዘኑን ከመፍረስ አተረፈች፤ መጋዘኑ ሲተርፍ ግን ሴትየዋ ቤቷን አጣች። እኔም ከኮሚሽኑ አባላት አንዱ ነበርሁና ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አይቻለሁ።

ወደ ጋምቤላ የወረድሁት ጢሜ በቅጡ ሳይበቅል ነው። በደጋ ደብር ዜማና ቅኔ ተምሬ፣ በላዩም የመምህርነት ሥልጠና ጨምሬ፣ አማርኛ እንዳስተምር ተመደብሁ። ማደሪያ የተሰጠችኝ ከመጋዘኑ ጀርባ የነበረች የቆርቆሮ ቤት ናት። ሙቀቱ ከቆርቆሮው ሥር አልወጣ ሲለኝ ማለዳ ዳዊቴን ይዤ እወጣና በመጋዘኑ የድንጋይ ደረጃ ላይ ተቀምጬ እደግም ነበር። ወንዙ በዚያ ሰዓት እንደ ተኛ ሰው ይተነፍሳል። የማንጎ ዛፎቹ ጥላ በውኃው ላይ ይዘረጋል፤ ዓሣ አጥማጆቹ ከአንድ ግንድ በተፈለፈለ ጀልባ ቆመው ድምፅ ሳያሰሙ ያልፋሉ።

የመጋዘኑ ዘበኛ የአገሩ ተወላጅ፣ ቁመቱ የረዘመ፣ ንግግሩ ያጠረ አኙዋ ነበር። ዳዊት ስደግም ጥቂት ቀን አዳመጠኝና አንድ ማለዳ፣

«ቄስ ነህ?» አለኝ።

«አይደለሁም፤ መምህር ነኝ።»

«ታዲያ ለማን ነው የምታነበው? ተማሪ የለም።»

«ለእግዚአብሔር።»

«እንግዲያ ቄስ ነህ» አለና ነገሩን ዘጋው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለእርሱም ለሚስቱም «ቄሱ» ሆንሁ። እውነተኞቹ ካህናት በሰሙ ቁጥር ይስቁብኛል፤ ሹመቱ ግን እስከ ዛሬ አልተነሣልኝም።

ሚስቱ ዓሣ ታጨስ ነበር። በክፍላቸው ውስጥ ከጭቃ ባበጀችው ምድጃ ላይ የእንጨት ቆጥ ሠርታ፣ የተሰነጠቀውን ዓሣ እየደረደረች፣ ከበታቹ እርጥብ እንጨት ታነድዳለች። ጢሱ ከክፍሏ አናት ተሻግሮ ወደ ትልቁ አዳራሽ ይገባና ከጣሪያው ወራጆች ሥር ሲንሳፈፍ ውሎ ሲንሳፈፍ ያድራል። ልብሴም መጽሐፌም የተማሪዎቼም ደብተር ዓሣ ዓሣ ይሸት ነበር።

«እህቴ፣ ጢስሽ ዳዊቴን አጠቆረብኝ» ስላት፣

«አንተ ጮክ ብለህ ታነባለህ፣ እኔ ዝም ብዬ አጨሳለሁ። ማነው ጎረቤቱን የሚያስቸግረው?» ትለኝ ነበር። በጾም ወራት ደግሞ ዓሣ ልካልኝ ሳልቀበል ስቀር በመስኮት ብቅ ብላ፣ «ዛሬም ጾም ነው? ዓሣ ምን በደለ?» ብላ ትጣራለች።

አማርኛን ያወቀችው ካደገች በኋላ፣ በገበያ ነው። «እርስዎ» የሚለው ቃል በአፏ ኖሮ አያውቅም፤ ለአስተዳዳሪውም ለነጋዴውም ለእኔም «አንተ» ነው። መጀመሪያ ጊዜ ጆሮዬን ቆርቁሮት ነበር። ኋላ ግን በጸሎታችን እግዚአብሔርን ራሱን «አንተ» እያልን እንደምንጠራው ትዝ አለኝ፤ ከዚያ ወዲያ ከእርሷ አፍ ሲወጣ ደስ እያለኝ መስማት ጀመርሁ።

አመሻሽ ላይ ባሏ ከደጃፉ ተቀምጦ ስለ መርከቦቹ ያወራኝ ነበር። በልጅነቱ፣ በክረምት ባሮ ሲሞላ፣ ከሱዳን በኩል በእንፋሎት የሚሄዱ መርከቦች እያዘገሙ እስከዚህ ይደርሱ እንደነበር፣ ጨውና አቡጀዲ አራግፈው ቡና ጭነው ይመለሱ እንደነበር ነገረኝ። «መርከቡ ሳይታይ ጢሱ ይታያል» ይለኝና ረጅም ጣቱን ወደ ወንዙ መታጠፊያ ይዘረጋል። «ልጆች ሁላችን እንሮጣለን። ጢሱ መጣ! ጢሱ መጣ! እንላለን።» እኔ መርከቦቹ ከቀሩ በኋላ ነው የደረስሁት። ሆኖም ያን የወንዝ መታጠፊያ ባየሁ ቁጥር አንዳች ነገር የሚመጣ ይመስለኛል።

ዘበኛው በሕመም ዐረፈ። መጋዘኑም ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው ሲዛወር ኖሮ በመጨረሻ ባዶውን ቀረ። እርሷን ግን ውጪ ያላት አልነበረም፤ ዓሣዋን እያጨሰች፣ በገበያ እየሸጠች፣ ልጆቿን ድራ በዚያችው ክፍል አረጀች። የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ዘማሪ ናት። ነገር ግን ታቦታችን ለጥምቀት ወደ ባሮ ሲወርድ በመጋዘኑ ፊት ያልፋልና፣ በየዓመቱ በከተራ ዕለት መንገዱን ጠርጋ ውኃ ትረጭልን ነበር። እሳቷንም ታጠፋለች። ለምን እንደምታጠፋ ብጠይቃት፣ «እንግዳችሁ ዓይኑ እንዳይቃጠል ነዋ» አለችኝ።

እንዲህ እያልን ሳለ በመጋዘኑ ቦታ ሆቴል ሊሠራ ነው የሚል ወሬ መጣ። ከተማዋ እያደገች ነው፤ ባጃጁ በዝቷል፤ ወደ ፑኝዶ የስደተኞች መጠለያ የሚመላለሰው እንግዳም ማደሪያ ይሻል። ያኔ ነው ኮሚሽኑ የተቋቋመው። ሰብሳቢያችን በፍርድ ቤት ሲያገለግሉ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ቀጥተኛና ለደንብ የቆሙ ሰው ናቸው። መሐንዲሳችን ደግሞ በዚህችው ከተማ የተወለደች፣ እኔው ያስተማርኋት ወጣት ናት፤ እስከ ዛሬም «ቲቸር» ትለኛለች። ብዙ ተመላልሰን፣ ብዙ ደጅ ጠንተን፣ መጋዘኑ በቅርስነት እንዲመዘገብ አደረግን። ሆቴሉም ሌላ ቦታ ተሰጠው። ያን ቀን ሁላችንም ተቃቀፍን።

በማግሥቱ ስብሰባ ሰብሳቢው መነጽራቸውን ጠረጉና፣ «እንግዲህ ደንቡ ግልጽ ነው። በቅርስ ውስጥ እሳት አይነድም፤ ሰውም አይኖርም» አሉ።

እኔ ቢያንስ ክረምቱ እስኪያልፍ ትቆይ ብዬ ለመንሁ። ይህን ያልሁት ለሕንፃው አስቤ አልነበረም፤ በዝናብ ዕቃዋን ተሸክማ ስትንከራተት በዓይነ ኅሊናዬ ስለ ታየችኝ ነው።

«መምህር፣ ዛሬ ለእርሷ ብለን ደንቡን ብናጥፈው ነገ ለሆቴሉ ባለቤት በምን አፋችን እንናገራለን?» አሉኝ። ሐሳባቸው ክፉ አልነበረም። በከተማው ጫፍ አንዲት የቀበሌ ክፍል ተፈለገችላት፤ ነግሬ እንዳሳምናትም እኔው ተላክሁ።

ዓሣ እየገለበጠች አገኘኋት። ሁሉን አስረዳኋት። ቀና ሳትል፣

«ሌላ ሰው አጥተው ነው አንተን የላኩት?» አለችኝ። አንዱን ዓሣ ገልብጣም፣ «መጋዘኑ አይፈርስም?» ብላ ጠየቀች።

«አይፈርስም።»

«ጥሩ ነው። እኔስ?»

የቀበሌውን ክፍል ቁልፍ ከኪሴ አውጥቼ በምድጃዋ ጠርዝ ላይ አኖርሁ።

ዕቃዋ በአንድ ባጃጅ አለቀ። ከዚያ በኋላ ኮሚሽኑ በመሐንዲሷ ምክር የጽዳት ዘመቻ ጠራ። ከየሰንበት ትምህርት ቤቱና ከየመዘምራኑ የመጡ ወጣቶች መሰላል ይዘው ወጥተው፣ በሳሙናና በብሩሽ የግድግዳውንና የወራጆቹን ጥላሸት አጠቡ። ጥቁር ውኃ እንደ ጎርፍ በደረጃው ወረደ። ማታ ላይ እንጨቱ የራሱን ቀይ መልክ ሲያወጣ ሁላችንም አጨበጨብን፤ ሰብሳቢውም በሩን በትልቅ ቁልፍ ቆለፉት።

እኔ ግን እየተመላለስሁ እጠይቃት ነበር። አዲሷ ክፍል ከወንዙ የራቀች ናት። ዓሣ ለማምጣት ባጃጅ መያዝ አለባት፤ ስታጨስም ጎረቤቶቿ ይቆጧታል፤ እየቆየችም ተወችው። ከስታ፣ እጆቿን በጭኗ ላይ አጣጥፋ ተቀምጣ ሳያት፣ እነዚያ እጆች ሥራ ፈትተው አይቻቸው እንደማላውቅ ተሰማኝ።

«ቤቱ ጥሩ ነው» አለችኝ አንድ ቀን። «ውኃው ግን አይሰማም። ሰዎች ሁሉ የሞቱ ይመስለኛል።»

«በይ እንጂ፣ ዝማሬሽስ?»

«እዘምራለሁ። አንተ ግን አታነብም። በማን ላይ ልቆጣ?»

ክረምቱ ከባድ ነበር፤ ባሮ እስከ ማንጎዎቹ ግንድ ደረሰ። በኅዳር ውኃው ሲጎድል መጋዘኑን ለማስመረቅ አሰብንና በሩን ከፈትን። መጀመሪያ የተቀበለን የሌሊት ወፍ ሽታ ነው። ቀጥሎ ከግድግዳው ላይ እንደ ደም ሥር የተዘረጋውን የምስጥ ጭቃ አየን፤ ከመሠረቱ ተነሥቶ እስከ ወራጆቹ ወጥቷል። መሐንዲሷ መሰላል ላይ ወጥታ እንጨቱን በቢላዋ ብትነካው፣ ቢላዋው እንደ ቂጣ ሰንጥቆት ገባ። በጭብጨባ ያወጣነው ቀይ መልክ ከውስጥ ተበልቶ ነበር። ሰብሳቢው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

መሐንዲሷ ቶሎ አልወረደችም። መሰላሉን ከአንዱ ወደ አንዱ እያዛወረች፣ በመጨረሻ ከዘበኛው ክፍል በላይ ወዳለው ጥግ ደረሰች። በዘመቻው ዕለት መሰላል ያልደረሰበት ቦታ ነውና ወራጆቹ እንደ ሬንጅ ጥቁር ሆነው ቀርተዋል። ቢላዋዋ በዚያ እንጨት ላይ ተንሸራተተ። የምስጡም ጭቃ ጥላሸቱ እስከሚጀምርበት መጥቶ፣ ዞሮ ወደ ታጠበው ሄዷል።

«ቲቸር!» ብላ ጮኸች። «ጢሱ ነው! ይህን ሁሉ ዘመን ጣሪያውን ያቆየው የዓሣው ጢስ ነው። እኔ ደግሞ በሳሙና አሳጠብሁት!»

ሰብሳቢው ወደ ላይ አንጋጠው አዩ። ከዚያ፣ «እስቲ ያችን ሴት በባጃጅ አስመጡልኝ» አሉ።

መጣች። ነጠላዋን አስተካክላ፣ እንደ እንግዳ ከበሩ ውጭ ቆመች። መሐንዲሷ እጇን ይዛ አስገባቻትና ወራጆቹን እያሳየች አስረዳቻት።

«ማዘር፣ ይህን ቤት ከምስጥ የጠበቁት እርስዎ ነዎት።»

«እኔ?» አለች ደንግጣ። «እኔማ ዓሣ ነው ያጨስሁት! ቤት ማጨሴን ማን ነገረኝ?» ወደ እኔ ዞረችና፣ «ይህ ሰውዬ ዕድሜውን ሙሉ በጢሴ ሲከሰኝ ኖሮ!» ብላ ሳቀች። ሰብሳቢው ሳይቀሩ ሳቁ።

የዚያን ዕለት ስብሰባችን በመጋዘኑ ደረጃ ላይ ሆነ። ሰብሳቢው ደንቡን ከኪሳቸው አውጥተው ደግመው አነበቡት፤ አጥፈውም ወደ ኪሳቸው መለሱት። ወደ እኔ ዞረው፣ «መምህር፣ በእናንተ በቤተ ክርስቲያን ንዋየ ቅድሳቱን ማነው የሚጠብቀው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ዕቃ ቤቱ ይቆለፋል» አልሁ። «ነገር ግን ሰው የማይገባበት ቤተ ክርስቲያን ተጠበቀ አይባልም፤ ተዘጋ ይባላል፤ እናዝንለታለን።»

ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ይህን ስናገር ዓይኔ እንባ አቀረረ። እርሳቸውም ብዕራቸውን አወጡ። ሴትየዋ የመጋዘኑ ጠባቂ ተብላ ወደ ክፍሏ እንድትመለስ፣ እሳቷም በምድጃዋ ብቻ እንዲነድ፣ ከምድጃውም አጠገብ አሸዋ የሞላ ባልዲ እንዲቀመጥ ተወሰነ። ባልዲውን ያስገቡት ሰብሳቢው ናቸው፤ ደንብ ያለ ባልዲ አይሆንላቸውም። የተበሉትም ወራጆች በአዲስ ተተኩ።

በታኅሣሥ ገባች። በዚያ ሰሞን ማለዳ ዳዊቴን ይዤ ስወርድ የወንዙን መታጠፊያ አየሁ፤ ከዚያም ጀርባዬን ስመልስ ከመጋዘኑ አናት ቀጭን ጢስ ሲወጣ አገኘሁ። የሞተው ወዳጄ አጠገቤ የቆመ መሰለኝ። በሽምግልናዬ ባላፍር ኖሮ «ጢሱ መጣ!» ብዬ እሮጥ ነበር።

ከተራ ደረሰ። ታቦቱ በዝማሬና በዕልልታ ወደ ባሮ ሲወርድ፣ በመጋዘኑ ፊት ያለው መንገድ ተጠርጎ፣ ውኃ ተረጭቶ፣ አቧራው ተኝቶ ጠበቀን። እርሷ ደረጃው ላይ ቆማለች። እኔ ከሰልፉ ወጣ ብዬ ወደ እርሷ ስጠጋ በአንድ እጇ የአሸዋውን ባልዲ ይዛ አየኋት።

«ቄሱ፣ ምን ላድርግ?» አለችኝ በሹክሹክታ። «በየዓመቱ ለእንግዳችሁ አጠፋለሁ። ያቺ ተማሪህ ደግሞ እሳቱን አታጥፊ ትለኛለች።»

የካህኑ ጽና ጢስ በፊታችን እየተመዘዘ ያልፋል፤ ከበስተኋላዋም በክፍሏ በር የዓሣው ጢስ ይወጣል። ነፋሱ ሁለቱንም ወደ ወንዙ ይወስዳቸዋል።

«ተዪው፣ ይጭስ» አልኋት። «እንግዳችን ዓሣ አጥማጆችን ያውቃቸዋል።»

ባልዲውን አስቀመጠችና ከእኛ ጋር ዕልል አለች።

አንባቢዬ ሆይ፣ የባሮን ውኃ በየክረምቱ የሚሞላ ጌታ ቤትህን በሰው ድምፅ ይሙላልህ፤ ምድጃህ አይቀዝቅዝ፤ የጣሪያህን እንጨት ከሚታየውና ከማይታየው ብል ይጠብቅልህ። በደጅህ ያረጁትን ከደጅህ አያርቅብህ፤ ልጆችህም የቆምህበትን ደረጃ አውቀው ይቁሙበት። አሜን።