ቀን ያነሰው ገብስ

ኃይለየሱስ በ1978 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ለብሔራዊ ውትድርና ሲጠራ ለሚስቱ ለየውብዳር ትቶላት የሄደው በዘይት ቆርቆሮ የበቀለ ጥቂት ገብስ ነው። ሁለቱም ከአሰላ ወጣ ብሎ ባለ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ይሠሩ ነበር፤ እሱ ዘር አዳቃይ፣ እሷ ረዳት ቴክኒሻን። የአርሲን ገብስ ከባሕር ማዶ ከመጣ ገብስ ጋር በእጁ አዳቅሎ፣ ከዛላው የለቀማቸውን ፍሬዎች ዘርቶ፣ ገና ቅጠል ማውጣት ሲጀምሩ ስሙ ቀበሌ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ሌላ ፍሬ አላስቀረም። እነዚያ ተክሎች ዛላ ሳያወጡ ከደረቁ የድካሙ ፍሬ በዚያው ያበቃል።

የባሕር ማዶው ገብስ አመል ነበረው። አገሩ ሩቅ ሰሜን፣ በበጋ ፀሐይ ዘግይታ በምትጠልቅበት ምድር ነው፤ ዛላ የሚያወጣውም ቀኑ ሲረዝምለት ነው። የአርሲ ቀን ያንሰዋል፤ አመሉም ለተዳቀሉት ተርፏል። ስለዚህ በጣቢያው ጓሮ ባለች አንዲት ክፍል አምፖሎች ተሰቅለው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት ይበሩ ነበር። ተክሉ ገና አልመሸም ብሎ ያድጋል። ዘር አዳቃዮቹ በመካከላቸው ይህን «ቀን መጨመር» ይሉታል። መብራቱን በሰዓቱ የሚያበራው መሣሪያ ተበላሽቶ መለዋወጫ ስለታጣ፣ ኃይለየሱስ ራሱ እያመሸ ያበራና ያጠፋ ነበር።

«ዛሬም ቀን ልጨምርላቸው» ይላታል።

«ለእኔስ ማን ይጨምርልኝ?»

«አንቺማ የአርሲ ገብስ ነሽ፤ አምፖል አያስፈልግሽም።»

እሱ ከሄደ በኋላ የውብዳር የጣቢያውን ቤት ለቅቃ አሰላ ከተማ ከአማቷ ጋር መኖር ጀመረች። የሠራተኞች መኪና በአሥራ አንድ ሰዓት ስለሚነሳ ማምሸት አልቻለችም። በመጀመሪያው ቀን ዘበኛውን ኦቦ ቶላን በር ላይ አገኘቻቸው። ኦቦ ቶላ የዲክሲስ ሰው ናቸው፤ ጣቢያውን ሲጠብቁ ጠጉራቸው ሸብቷል፤ ኃይለየሱስንም እንደ ልጃቸው ይወዱት ነበር።

«ኦቦ ቶላ፣ አደራዎን፣ የኃይለየሱስን ገብሶች ቀን ይጨምሩላቸው» አለቻቸው።

«እሺ ኢንተለ ኮ፤ ልጄ፣ ሐሳብ አይግባሽ» አሉ።

መኪናው ጥሩምባውን ሲነፋ ሮጣ ሄደች።

ጥር ደረሰ። ገብሱ አረንጓዴ ነው፣ ለምለም ነው፣ ግን ቁጭ ብሏል። ቅጠል በቅጠል ላይ ይደርባል እንጂ አይመዘዝም። የውብዳር በየጠዋቱ አገዳውን በሁለት ጣቷ ይዛ ከሥሩ ጀምሮ ወደ ላይ ትዳብሳለች፤ ዛላ ሊያወጣ የተነሣ ገብስ መጀመሪያ አንጓው ጣት ላይ ይቆረቁራል። ምንም አልቆረቆራትም። ማዳበሪያውን ቀየረች፣ ውኃውን ቀነሰች፣ ቆርቆሮዎቹን ከግድግዳው አራቀች። ከሰሜን ጦር ግንባርም ወሬ አልመጣም። ሁለቱን ነገር በልቧ መለየት እያቃታት፣ አንጓ የነካች ቀን እሱም በሕይወት መኖሩን የምትሰማ ይመስላት ጀመር።

አንድ ቀን የክፍሉ ኃላፊ ጓድ ገብረወልድ ገብተው ቆርቆሮዎቹን አዩ።

«ጓድ የውብዳር፣ ይህ ገብስ ነው ወይስ ግጦሽ?»

«ቀኑ ይደርሳል፣ ጓድ።»

«ይህ ክፍል ለምርት ዘመቻው ምርጥ ዘር መጋዘን ሊሆን ነው። በሳምንቱ መጨረሻ ይለቀቅ። እኔማ ባለፈው ወር እንዲጣል ሰው ልኬ ነበር፤ ያ ሽማግሌ ዘበኛ ዱላ ይዞ በር ላይ ቆመባቸው አሉ።»

የውብዳር ልታመሰግን ወደ በሩ ሄደች።

«ኦቦ ቶላ፣ ተክሉን እንዳይጣል ያተረፉት እርስዎ ነዎት አሉ።»

«ታዲያ! ቀን ጨምርላቸው አላልሽኝም? ሊጥሉ ሲመጡ ‹ቀን ተጨምሮላቸዋል፣ ሂዱ!› አልኩ። ሁለተኛም መጡ። አሁንም ጨመርኩላቸው።»

የውብዳር ወደ ጓሮው ክፍል ዞራ አየች።

«መብራቱንስ?»

«የምን መብራት? እሱንማ አጥፍቼ ነው የምቀመጠው። ስብሰባ ላይ ኃይል ቆጥቡ አልተባልንም?» ፊቷን ሲያዩ ድምፃቸው ተቀየረ። «ምነው፣ ምን አጠፋሁ?»

ቀን መጨመር ማለት ቀጠሮ ማራዘም መስሏቸው ነበር። ማንስ ሌላ ይመስለዋል? ሦስት ወር ሙሉ ገብሱን ከሰው በዱላ ሲጠብቁ፣ በየምሽቱም ጨለማ ውስጥ አስቀምጠውት ኖረዋል። ስትነግራቸው መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

«ዋዮ! በእጄ!» አሉ። «እንቺ፣ በዚሁ ዱላ በይኝ።»

«ይነሱ፣ ኦቦ ቶላ። እርስዎ ባይኖሩ ሣሩም አይገኝም ነበር» አለች። እንባዋ ግን መጣ።

ጓድ ገብረወልድ ተክሎቹን ወደ ቤቷ ብትወስድ አልከለከሏትም። «ለጣቢያው አይጠቅምም፤ ካፈራ ግን ፍሬው የመንግሥት ነው፣ በሰኔ ለማሳ ይምጣ» አሉ። ኦቦ ቶላ ጋሪ ጠርተው ቆርቆሮዎቹን ራሳቸው ጫኑ፤ እስከ አሰላም ከጎን ከጎን በእግራቸው ሄዱ፤ ጋሪው በተንገጫገጨ ቁጥር ባለጋሪውን ይሰድቡታል።

የአማቷ የወይዘሮ አሰፋች ቤት አንድ ክፍል ነው፤ ከአከራዩ በተሳበ መስመር አንድ አምፖል ይበራል። የውብዳር ሽቦውን ቀጥላ አስረዝማ አምፖሉን ጥግ ላይ፣ ከቆርቆሮዎቹ በላይ ዝቅ አድርጋ ሰቀለችው። ወይዘሮ አሰፋች እንዝርታቸውን ይዘው ጨለማ ውስጥ ቀሩ።

«ልጄን መንግሥት ወሰደው፤ መብራቴን ደግሞ ገብስ!»

«ቀስ ይበሉ እማማ፣ ጎረቤት ይሰማል።»

«ይስማ! ምን ቀረኝና?» አሉ፤ ድምፃቸውን ግን ዝቅ አደረጉ። «የማን ነው አልሽው?»

«የኃይለየሱስ። ገና ሳይሄድ ያዳቀለው።»

ወይዘሮ አሰፋች በርጩማቸውን አንሥተው ከገብሱ አጠገብ ተቀመጡና መፍተላቸውን ቀጠሉ። ከዚያ ምሽት ጀምሮ ቤታቸው ያ ጥግ ሆነ፤ እራት እዚያው፣ ወሬ እዚያው። መብራት ሲጠፋ ወይዘሮ አሰፋች ፋኖስ አብርተው ቆርቆሮዎቹ መካከል ያስቀምጣሉ፤ «ይሄስ ከቀን አይቆጠርም?» ይላሉ። የውብዳር ይበቃው አይበቃው አታውቅም፤ ግን አትከለክላቸውም።

አንጓውን መጀመሪያ ያገኙት ወይዘሮ አሰፋች ናቸው። ምራታቸው ስትዳብስ አይተው፣ እሷ ሥራ ስትውል ይዳብሱ ነበር። «የውቤ፣ ነይ፣ ቆረቆረኝ!» ብለው በር ላይ ጠበቋት። የውብዳር ጋቢዋን ሳታወልቅ ተንበረከከች። እውነት ነው። ቀና ብላ የአማቷን ፊት ስታይ፣ እሳቸውም እንደ እሷ ሌላ ነገር አብረው ሲጠብቁ እንደ ነበር ገባት። ማታ ሬዲዮኑን ከወትሮው አስበልጠው አዳመጡ። ኃይለየሱስ ስላለበት ክፍለ ጦር ምንም አልተባለም።

ዛላው ወጣ፤ ፂሙ ተዘረጋ፤ ፍሬው ሞላ፤ ግንቦት ሲያልቅ ነጣ። የውብዳር በመቀስ ቆርጣ ወንፊት ላይ በእጇ ፈለፈለችው። አንዲትም ፍሬ እንዳትወድቅ ነጠላ አንጥፋ ነበር።

«አንድ ልቅመስ» አሉ ወይዘሮ አሰፋች።

«እማማ፣ ዘር ነው። እያንዳንዱ ከሌላው ይለያል፤ የትኛው ያለ መብራት እንደሚያፈራ ሳይዘራ አይታወቅም። የምንበላው እሱ ሊሆን ይችላል።»

«አውቃለሁ። ልጄ የሠራውን ነገር በአፌ ልያዘው ብዬ ነው።»

የውብዳር የሥራ ሰው ነበረች፤ ዘር ለማንም አታስነካም። እጇ ወንፊቱ ላይ ብዙ ቆየ። ሳትመርጥ አንዲት ፍሬ አነሣችና መዳፋቸው ላይ አስቀመጠች። ወይዘሮ አሰፋች በጥቂት ጥርሳቸው ቀስ ብለው አላመጡ።

«ምን ምን ይላል?»

«ገብስ ገብስ ይላል» አሉና በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

የውብዳር የቀረውን በጨርቅ ቋጥራ ጉያዋ ውስጥ አደረገች። በማግስቱ፣ ሰኔ ገብቶ የጣቢያው ማሳ ታርሶ ስለነበር፣ የሠራተኞችን መኪና ሳትጠብቅ ልትዘራው በእግሯ ወጣች።