የማዳም ልጅ ብስክሌት

ባለፈው አርብ ልጄን ናሆምን ይዤ ወደ በለድ ወርጄ ነበር፤ በለድ የምንለው ኮረብቶቹ ሁሉ ቁልቁል የሚወርዱበትን የአማንን የድሮ ገበያ ነው። ናሆም ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ሱሪ በገዛሁለት በወሩ ቁርጭምጭሚቱ የሚታይ፣ እንደ ሸንበቆ የሚመዘዝ ልጅ። ብስክሌት ካልገዛሽልኝ ብሎ ካስጨነቀኝ ቆይቷል። መጀመሪያ ኻልዳ ሰፈር ካሉት ትልልቅ መደብሮች ወደ አንዱ ወስጄው፣ ዋጋውን ሳይ እጁን ይዤ ስለወጣሁ፣ ያገለገለም ቢሆን ጠንካራና ርካሽ አናጣም ብዬ ነው ወደዚህ ያመጣሁት። የሱቁን ደፍ እንዳለፍን የአዲስ ጎማና የካቴና ግሪስ ሽታ ተቀበለን። ባለሱቁ፣ ገና ጢሙ በቅጡ ያልበቀለ ወጣት፣ ናሆምን አንዱ ብስክሌት ላይ አፈናጠጠውና እግሩ መሬት መንካቱን ጎንበስ ብሎ እያየ፣ «ልጅሽ ነው?» አለኝ። ለሌላ ሰው መልሱ ከአፍ የሚወድቅ ጥያቄ ነው። እኔ ግን ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለ፤ እንደ ሌባ ዙሪያዬን ቃኘሁ፤ ከዚያ በኋላ ነው «አዎ፣ ልጄ ነው» ያልኩት።

እኔ ያደግሁት ጀበል አማን፣ መኪና በማይገባበት የደረጃ መንገድ ዳር፣ ከአንድ አሮጌ የድንጋይ ቤት ሥር ባለች ክፍል ውስጥ ነው። ያሳደገችኝ እትዬ ዘሐራ ትባላለች፤ የወሎ ሰው ናት፤ ቀን ቀን በየሰው ቤት እየዞረች በሰዓት ታጸዳለች፤ ሳቋ ደረጃው ታች ድረስ ይሰማል፤ ወጡ ላይ ጨው ሲበዛባት «ዛሬ ባሕር አምሮኝ ነው» ብላ ታልፈዋለች። የክፍላችን መስኮት ከመንገዱ ጋር እኩል ስለነበር የሰፈሩን ሰው የማውቀው በጫማው ነበር፤ የባለ ዳቦ ቤቱን ዱቄት የለበሰ ነጠላ ጫማ፣ የፎቁን አስተማሪ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ቆዳ፣ የአንዲት ጎረቤት ሴትዮን ከደረጃው ጋር የሚጣላ ተረከዝ። ክረምት ሲመጣ ግድግዳው ያልበዋል፤ ካልሲያችንን የጋዝ ማሞቂያው ላይ ዘርግተን የሱን ሽታ እየማግን እንቀመጣለን። በጋ ላይ ደግሞ ከላይኛው ግቢ የሚወርደው የያስሚን ሽታ ያለ ኪራይ ክፍላችን ገብቶ ይሰነብታል።

እናቴ ግን የአርብ ሰው ነበረች። ዴር ግባር በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር፣ አንድ ትልቅ ቪላ ውስጥ እያደረች ትሠራለች። እኔን የወለደችው ከመጀመሪያ አሠሪዎቿ ወጥታ ከእትዬ ዘሐራ ጋር ስትኖር ነው፤ አባቴ ሥራ ፍለጋ ወደ ሌላ አገር ተሻግሮ በዚያው የቀረ ሰው ነው፤ ከዚህ በላይ የነገረኝ የለም። የዴር ግባርን ሥራ ያገኘችው ልጅ የለኝም ብላ ነው። ማዳሟ ብታውቅ ሥራው ይቀራል፤ ሥራው ከቀረ ኢቃማው፣ ማለት የመኖሪያ ወረቀቱ፣ ይቀራል፤ ኢቃማው ከቀረ ደግሞ ሁላችንም የት እንደምንወድቅ አይታወቅም። ስለዚህ አርብ አርብ ቤተ ክርስቲያን ልሳም ብላ ትወጣለች። ውሸት አልነበረም፤ ቅዳሴዋን ታስቀድሳለች፤ ከዚያ ነጠላዋን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ትከትና ደረጃውን እየሮጠች ወደኛ ትወጣለች። ስታቅፈኝ የበረኪናና የዕጣን ሽታ አንድ ላይ ይሸተኝ ነበር።

እኔ ደግሞ እንደ ዛሬው ልጄ ቶሎ ቶሎ እረዝም ነበር። እናቴ የምታመጣልኝ ጫማ ሁሌም ይጠበኛል፤ ቀሚሱ ሁሌም ከጉልበቴ በላይ ይቀራል። እትዬ ዘሐራ የጫማውን አፍንጫ በቢላዋ ቆርጣ ጣቶቼን ነጻ እያወጣች፣ «እናትሽ የምትገዛው ባለፈው ጊዜ ላየቻት ልጅ ነው» ብላ ትስቃለች። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ምን ማለቷ እንደሆነ የገባኝ ኋላ ነው።

ከኛ ደረጃ በላይ አንድ ለጥ ያለ መንገድ አለ፤ በዚያ ሁሉ ዳገት መሀል እግዜር የረሳው የሚመስል ሜዳ። የሰፈሩ ልጆች ብስክሌት የሚነዱት እዚያ ነበር። እኔ ከኋላቸው ነበር የምሮጠው፤ ሲወድቁ ብስክሌቱን አቅንቼ እሰጣቸዋለሁ፤ ይህን ሥራዬን ማንም ሳይሾመኝ በጣም በትጋት ነበር የምሠራው። እናቴ አንድ አርብ ወደኛ ስትመጣ ይህን አይታ ኖሯል። በሌላ አርብ ደህናውን ቀሚሴን አልብሳ፣ ጸጉሬን ውኃ አስነክታ፣ «ነይ፣ ወደ በለድ እንውረድ» አለችኝ።

የወሰደችኝ ሱቅ ከማዳሟ ጋር አንዴ ሄዳ የምታውቀው ነው፤ የማዳም ትንሹ ልጅ ብስክሌት የተገዛው እዚያ ነበር። ባለሱቁ ነጭ ጢም ያላቸው ሽማግሌ ናቸው፤ አቡ ነቢል ይባላሉ። ዕቃ የተሸከመችን ሠራተኛ ማን ያስታውሳል ብላ መሆን አለበት እናቴ በድፍረት የገባችው። ሽማግሌው ግን ገና ሲያዩዋት፣

«አህለን ሱሱ! ማዳም እንዴት ናት?» አሏት።

ሱሱ ማን እንደሆነች ለማየት ወደ ኋላዬ ዞርኩ። የለችም። እናቴ ስሟ የሺወርቅ ነው፤ ማዳሟ ለምላሷ ስለከበዳት ሱሱ ብላታለች፤ ይህን የሰማሁት ያን ቀን ነው። እናቴ ደግሞ ለዚህ ስም አቤት ስትል ድምፅዋ ይቀጥናል፤ አንገቷ ዝቅ ይላል፤ እኔ የማላውቃት ሴት ሆና ቆመች።

«ደህና ናት፣ አልሐምዱሊላህ።»

«ብስክሌት ነው? ለትንሹ?»

እጄን የያዘው እጇ ሲጠብቅ ተሰማኝ። «አዎ» አለች። «ለማዳም ልጅ ነው።»

«ይህቺ ቆንጆስ?»

«የጓደኛዬ ልጅ ናት።»

ዓረብኛ ከማንም በላይ የምሰማ ልጅ ነበርኩ፤ ያን ዕለት ግን ባልሰማ ደስ ባለኝ። ሽማግሌው ሳቅ እያሉ፣ ልጁ ከባለፈው ወዲህ ምን ያህል አድጎ ይሆን ብለው ጠየቁ። እናቴ ዙሪያዋን አየች፤ መለኪያ ፈልጋ ነው። ከዚያ ትከሻዬን ይዛ ወደ ፊት ገፋ አደረገችኝ።

«ይህቺን ያህላል።»

እኔም የማዳም ልጅ ቁመት ሆኜ ቆምኩ። አቡ ነቢል መዳፋቸውን አናቴ ላይ አሳረፉ፤ ከኮርቻ ኮርቻ እያዞሩ አስጠጉኝ፤ ቀዩ ይበዛበታል፣ አረንጓዴው ያንሰዋል እያሉ፣ በመጨረሻ ከጥግ አንድ ሰማያዊ ብስክሌት ጎትተው አመጡ። ጎማው ገና የፋብሪካው ጸጉር አለበት። ተፈናጥጬ ስቆም ሁለቱም እግሬ መሬት ነካ። «ለልጁ ልክ ነው» አሉ። ለኔ ልክ እንደሆነ የምናውቀው እኔና እናቴ ብቻ ነን፤ እሷ ደግሞ ፊቴን አታይም ነበር።

ዋጋው ላይ ችግር መጣ። ለዴር ግባር ቪላ የሚጠራ ዋጋ ነው የጠሩት፤ ውሸታችን እዚያው አስከፈለን። እናቴ መከራከር ጀመረች። የሷን ዓረብኛ ያስተማሯት ማዳሞች ናቸው፤ ስለዚህ ከማንም ጋር ስታወራ እንደ ሴት ነው የምታናግረው፤ ያን ጢማም ሽማግሌ «እዪ እንጂ፣ ቀንሺ እንጂ» ትላቸዋለች። ከኋላችን ጎማ የሚያስነፉ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ አፉን በእጁ ሸፈነ፤ ሌላው ድምፅዋን አስመስሎ ደገመው። እኔ የምገባበት ቀዳዳ አጣሁ። ዝም እንድትል ፈለግሁ፤ ዝም ካለች ደግሞ ብስክሌቱ እንደሚቀር አውቃለሁ። መሪውን እንደያዝኩ ጫማዬን ብቻ እያየሁ ቆምኩ።

አቡ ነቢል ክርክሩን ለማብረድ ይሁን፣ «መጀመሪያ ትሞክረው፣ ከዚያ እንነጋገራለን» ብለው ብስክሌቱን ወደ ውጭ አወጡት። ነድቼ አላውቅም፤ ስሮጥ ብቻ ነው የኖርኩት። አፈናጥጠው ለቀቅ ሲያደርጉኝ መንገዱ ቁልቁል ነበር። ብስክሌቱ በራሱ መሄድ ጀመረ፤ ፍሬኑ የት እንደሆነ አላውቅም፤ የፍራፍሬ ጋሪ ፊት ለፊቴ መጣ፤ ሳላስበው፣ በሙሉ ድምፄ፣

«ማማ!» አልኩ።

ይህ ቃል በአማርኛም በዓረብኛም አንድ ነው። እናቴ ቦርሳዋን ጥላ ሮጠች። ጋሪው ጋ ሳልደርስ ከነብስክሌቱ ያዘችኝ፤ መንገዱ ላይ ቁጭ ብላ ጉልበቴን፣ ክርኔን፣ ጥርሴን ሳይቀር አገላብጣ አየች፤ በምራቋ ፊቴን እየጠረገች፣ «ልጄን! ልጄን! ወይኔ ልጄን!» ትላለች። አማርኛ ባያውቁም ትርጉሙ የሚጠፋው ሰው አልነበረም። የሚስቁት ሰዎች ዝም ብለዋል። እሷም ዝምታውን ስትሰማ ነው ያደረገችው የገባት፤ ፊቷ አመድ መሰለ።

አቡ ነቢል ቦርሳዋን አንስተው፣ አቧራውን በእጃቸው አራግፈው አቀበሏት። ዓይኗን አላዩም፤ እሳቸውም ያፈሩ ይመስላሉ። «አላህ ይኸሊሊክ ያሃ» አሏት ዝግ ብለው። እኛ «ያሳድግልሽ» እንደምንለው ነው፤ ለወላጅ እንጂ ለሌላ አይባልም። እናቴ እጄን ይዛ፣ ብስክሌቱን እዚያው ትታ፣ ሰርቪስ ታክሲ እንኳ ሳንይዝ ያን ሁሉ ደረጃ በእግር ወጣን። የተቆጣች መስሎኝ ነበር። ቤት ደርሳ እትዬ ዘሐራ ትከሻ ላይ ስታለቅስ ነው ፍርሃት መሆኑን ያየሁት። እኔ ግን በዚያ ሁሉ መሀል፣ መንገድ ላይ ሰው ፊት «ልጄን» ማለቷ በውስጤ ደስ ብሎኝ ነበር፤ እሷ እያለቀሰች ደስ ስላለኝ አፈርኩ።

ከዚያ በኋላ አርቦቹ ሳሱ። ሽማግሌው ለማዳም ቢነግሯትስ ብላ ፈርታ ብዙውን ጊዜ ቀረች፤ ስትመጣም ቶሎ ትሄዳለች። ክረምቱ ገባ፣ ደረጃው ላይ በረዶ ሆነ፣ ቀለጠ። ሽማግሌው ለማንም አልተናገሩም ነበር። ብርዱ አልፎ እንቡጥ ለውዝ በጋሪ ላይ በጨው መሸጥ ሲጀምር፣ አንድ አርብ፣ ከመስኮታችን የእናቴን ጫማ አየሁ፤ ከጎኑ ጎማ አለ። ያን ሰማያዊ ብስክሌት በትከሻዋ ደግፋ አውጥታዋለች። ብቻዋን ሄዳ፣ «ለልጄ ነው» ብላ ነው የገዛችው፤ አቡ ነቢልም ሳትከራከራቸው ቀንሰውላታል። ይህን ስትናገር ላቧ በጉንጯ እየወረደ ትስቅ ነበር፤ እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

ወደ ሜዳው መንገድ ወጣን። ተፈናጠጥኩ። ጉልበቴ ከመሪው ጋር ተጋጨ። ኮርቻውን እትዬ ዘሐራ ታግላ ከፍ አደረገችው፤ ከዚያ በላይ አይሄድም፤ አሁንም ተጋጨ። እትዬ ዘሐራ ልትስቅ ጀምራ አፏን ያዘች። እናቴ ከእግሬ እስከ ራሴ፣ ከራሴ እስከ እግሬ አየችኝ፤ ፈገግታዋ ቀስ እያለ ጠፋ።

«አደግሽብኝ» አለች።

«ልክ ነው እማዬ፣ ልክ ነው!» ብዬ ነዳሁ። ጉልበቴን እንደ ጉርጥ ወደ ውጭ ከፍቼ፣ እየተንገዳገድኩ፣ መንገዱን ወደ ላይ ወደ ታች ተመላለስኩ። የሰፈሩ ልጆች ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እናቴ ደረጃው ላይ ተቀምጣ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና ታየኛለች፤ የመሄጃዋ ሰዓት እስኪደርስ አልወረድኩም። በሳምንቱ ብስክሌቱን የፎቁ አስተማሪ ትንሽ ሴት ልጅ ወሰደችው፤ ለሷ በጣም ልኳ ነበር።

እናቴ ሥራዋን ጨርሳ ወደ ኮምቦልቻ ከተመለሰች ብዙ ዓመት ሆኗታል። እኔ እዚሁ ሥራ ይዤ፣ አግብቼ፣ ወረቀቴ በስንት መመላለስ ተስተካክሎ ቀረሁ። ካቻምና ለመጀመሪያ ጊዜ አገሬን አየሁ። መናኸሪያ ድረስ መጥታ ተቀበለችኝ፤ ስታቅፈኝ ራሷ ደረቴ ላይ ነው የደረሰው። ከዚያ በኋላ ለባጃጁ ሾፌር «ልጄ ናት» አለችው። ለባለ ኪዮስኳ «ልጄ ናት» አለቻት። መንገድ ላይ ቆሞ ሰዓት ለሚያይ ለማናውቀው ሰውዬ ሳይቀር፣ ሳይጠይቃት፣ «ይቺ ልጄ ናት፣ የወለድኳት» አለችው፤ ሰውዬው ግራ ተጋብቶ አየን። እኔም ዓረብ አገር እንዳደገ ሰው ሀፍረት ሀፍረት አለኝና፣ «በቃ እንግዲህ እማዬ፣ ሰው ይታዘበናል» አልኳት፤ በፍቅር ነው ያልኩት፣ እየሳቅሁ።

ወዲያው ክንዴን ለቀቀች። እንዲሁ ጎን ለጎን እስከ ቤቷ ተጓዝን። ከዚያ ወዲህ፣ እስክመለስ ድረስ በነበሩት ቀናት፣ ጎረቤት መጥቶ «ማን ናት ይቺ?» ሲላት፣ እናቴ መልስ ከመስጠቷ በፊት ቀና ብላ መጀመሪያ የኔን ፊት ታይ ነበር።