ጅቡቲ ወይስ የደብረ ወርቅ ጭቃ

የመጀመሪያ መኪናዬ ነጭ አይሱዙ ነበረች። እርግጥ የእኔ አልነበረችም፤ ደብረ ማርቆስ ላይ እህል የሚነግድ ሰው ንብረት ናት። መሪውን የያዝኩት እኔ ስለሆንኩ ግን «መኪናዬ» እንዳልል የከለከለኝ የለም። መንጃ ፍቃዴ ገና ጠረኑ አልለቀቀም፤ ማንም ሳይጠይቀኝ እያወጣሁ አየው ነበር። ሥራዬ ከቁይና ከደብረ ወርቅ ጤፍና ስንዴ ጭኖ ማርቆስ ማስገባት ነው። ጠዋት እወጣለሁ፣ ራቴን እናቴ ቤት እበላለሁ።

የሥራው ትልቁ ፈተና መንገዱ ሳይሆን ጋቢናው ነበር። ከሾፌሩ አጠገብ ያለው ወንበር ሁለት ሰው ይይዛል፤ የሚፈልገው ግን የገበያው ሰው ሁሉ ነው። ስለዚህ ከእኔ በፊት የነበሩ ሾፌሮች ያቆሙት ሕግ አለ፦ ጋቢና ለቄስና ለነፍሰ ጡር ነው። ሌላው ሰው ሀብታምም ይሁን ሹም ከጆንያው ላይ ይወጣል። እኔ ደግሞ ጀማሪ ስለሆንኩ ሕጉን ካወጡት ሰዎች ይበልጥ አጠብቀው ነበር። አንድ ጊዜ ክራባት ያሰረ የወረዳ ሰው ከዶሮዎች ጋር ኋላ ጭኜ ቁይ ድረስ ወስጃለሁ። እስካሁን ድረስ ሲያገኘኝ ሰላምታው ቀዝቀዝ ያለ ነው።

በዚህ ሕግ በጣም የተማረረችው አንዲት መምህርት ነበረች። ቁይ ታስተምራለች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደብረ ወርቅ አባቷ ቤት ትሄዳለች።

«ምነው፣ መምህር ከቄስ አይቆጠርም?» አለችኝ አንድ ቀን፣ አንድ እግሯን ጎማው ላይ አድርጋ።

«አይቆጠርም።»

«እንግዲህ ቅስናው ለሴት አልተፈቀደ! የቀረኝ አንዱ ነው ማለት ነው» ብላ ወደ ላይ ወጣች። ጆንያው ላይ የነበሩት ሴቶች በሳቅ ፈነዱ። እኔ አፍሬ ሞተሩን አስነሣሁ፤ ደብረ ወርቅ እስክንደርስም ስለ ሌላ ነገር ማሰብ አቃተኝ።

ልክ በዚያው ሰሞን አጎቴ መጣ። የእናቴ ወንድም ነው፤ ከጅቡቲ ወደብ ማዳበሪያ ጭኖ ወደ ጎጃም የሚመላለስ የተሳቢ ሾፌር። ቤታችን ሲገባ ተምርና ሽቶ ይዞ ነው የሚገባው። ጥቁር መነጽሩን ቤት ውስጥ እንኳ አያወልቅም ነበር፤ እናቴ «ወንድሜ ዓይኑ ምን እንደሚመስል ረሳሁት» ትላለች።

«አንተ፣ እስከ መቼ ነው እንደ ዶሮ በመሸ ቁጥር ቆጥ የምትወጣው?» አለኝ። አሠሪው ሌላ ተሳቢ ሊገዛ ነው። ለጊዜው አብሬው እየተመላለስኩ መንገዱን እለምዳለሁ፣ ፍቃዴን አሳድጋለሁ፣ ከዚያ አዲሱን መኪና እረከባለሁ። «ቶሎ ወስን። መኪናው ሰው አይጠብቅም።»

ልቤ ወዲያው ደጀንን አልፎ የዓባይን ቁልቁለት ወረደ። ነገር ግን ልቤ ቅዳሜ ቅዳሜ ጆንያ ላይም ይቀመጥ ነበር። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ይባላል፤ እኔ ሁለቱንም ዛፍ አቅፌ መሐል ቆምኩ።

ለመምህርቷ ሁሉንም ነገርኳት። እንደምወዳትም፣ ጅቡቲ እንደተጠራሁም፣ በአንድ ትንፋሽ።

«ሽማግሌ ላክ» አለች፣ ዓይኗን ሳትሰብር። «አባቴ ግን ልጁ ሥራው ምንድን ነው ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መልሱን ይዘህ ና።»

«አንቺስ የትኛውን ትመርጪያለሽ?»

«እኔ የምመርጠው ልቡ የሚፈልገውን የሚያውቅ ሰው ነው።»

አባቷ ቅስና ያላቸው የቅኔ መምህር ናቸው፤ ደብረ ወርቅ ትልቅ ትንሹ «የኔታ» ይላቸዋል። የሐዋርያት ጾም እንደተፈታ ሽማግሌዎቼን አሰናዳሁ። ደንቡ ሦስት ነበር፤ ጋቢናው ግን ከሁለት በላይ ስለማይዝ የንስሐ አባቴና አጎቴ ብቻ ሆኑ። አጎቴ ቄስም ነፍሰ ጡርም ስላልሆነ ያን ቀን ሕጌን በገዛ እጄ ጣስኩ። ለሽማግሌ ክብር ብዬም መኪናዋን አጠብኳት፣ የጭነቱን ወለል ጠረግሁት፣ አንዲት ጆንያ ሳላስቀር አራገፍኩ።

«ባዶ ናት እንዴ?» አለ አጎቴ ቅንድቡን ሰብስቦ። ንጽሕናዋን ያደነቀ መሰለኝና ኮራሁ።

ገና ከማርቆስ ሳንርቅ ክርክሩ ተነሣ። ቄሱ «እዚሁ የሚሠራ፣ ማታ ቤቱ የሚገባ ልጅ ነው እንላለን» አሉ።

«አባ ይፍቱኝ» አለ አጎቴ፣ «የጅቡቲ ሾፌር ማለት እያለ ለጤፍ አመላላሽ ማን ልጁን ይሰጣል?»

«ከየኔታ ፊት ቆሜማ አልዋሽም። ልጄ፣ የትኛውን እንበል?»

«ደብረ ወርቅ ስንደርስ እነግራችኋለሁ» አልኩ። ይህን መልስ ቁይ ላይም ደገምኩት።

እንደ አገራችን ወግ፣ ጠያቂው ልጅ ሽማግሌ በላከበት ቀን በደጅ አይታይም። እኔም ከከተማው ዳር፣ ከባሕር ዛፉ ሥር መኪናዬን አቁሜ ልደበቅ ነበር ሐሳቤ። ግን ዝናቡ ወረደ። ቄሱ በረዶ የመሰለ ጋቢያቸውን አዩ፣ መንገዱን አዩ፣ «እስቲ ትንሽ ጠጋ አድርገን» አሉ። ጠጋ አልኩ። «ትንሽ ደግሞ» አሉ። እንዲህ እንዲህ ስንል ልክ የየኔታ በር ላይ ስንደርስ የኋላ ጎማዬ ጥቁሩ አፈር ውስጥ ገባና ባለበት ይሽከረከር ጀመር።

ነዳጅ በሰጠኋት መጠን እየጠለቀች ሄደች። የሞተሩን ጩኸት ሰምተው የኔታ ራሳቸው ጥምጥማቸውን እንዳደረጉ ወጡ፤ ተማሪዎቻቸውም ተከተሏቸው። «ኑ ልጆቼ፣ መንገደኛ ነው፣ እንግፋለት!» ብለው ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ። እኔ ደግሞ ደንግጬ ነዳጁን እስከ ጥግ ረገጥኩት። በስፖኪዮ ሳይ፣ ሚስቴ እንድትሆን የምለምናት ልጅ አባት ከጥምጥማቸው እስከ እግራቸው ጭቃ ለብሰዋል።

«ወየው ጉዴ!» አሉ የንስሐ አባቴ። «ሽማግሌ እስኪፈቀድለት አይቀመጥም፤ እኛ ቆመን ልንለምናቸው መጥተን ተቀምጠን እናስገፋቸዋለን!» በሩን ከፍተው ዘለው ወረዱ፤ ያ በረዶ የመሰለ ጋቢም የዕድሉን አገኘ።

አጎቴ ከመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ ጮኸ። «መግፋት አይደለም! ባዶ ስለሆነች ኋላዋ ቀሏታል፤ ሰው ይውጣባት!» ያኔ ነው ጠዋት ለምን ቅንድቡን እንደሰበሰበ የገባኝ።

ተማሪዎቹ እየተሳሳቁ ወጡ፤ የኔታንም ደግፈው አወጧቸው። መኪናዋ ክብደቱን ስታገኝ ጎማው ያዘላትና አንድ ጊዜ ጓጉራ ወጣች። ሁሉም ሰው እልል አለ። ሳቁ ጋብ ሲል የኔታ ከመኪናው ላይ ናቸው፣ ቄሱና በኋላ የወረደው አጎቴ ከታች ጭቃው ውስጥ ቆመዋል።

«በሉ ግቡ፣ ዝናቡ ገና ነው» አሉ የኔታ።

«አንገባም፣ አንቀመጥምም» አሉ ቄሱ ድምፃቸውን አስተካክለው። «ልጅዎን ለልጃችን ለቁም ነገር ፈልገን ነው የመጣን።»

የኔታ የመኪናው ጠርዝ ላይ በዝግታ ተቀመጡ፤ ሽማግሌ ቆሞ ባለቤት ይቀመጣልና ወጉ በቦታው ተመለሰ። «ልጁ ሥራው ምንድን ነው?»

«እዚሁ…» አሉ ቄሱ። «ጅቡቲ…» አለ አጎቴ። እኩል ነው የወጣቸው።

«ከሁለቱ የቱ ነው? ልጁስ የት ነው ያለ?»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። መደበቂያ ቢኖረኝ እገባበት ነበር፤ የነበረኝ ግን መሪ ብቻ ነው። ወርጄ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁ።

«ይኼን ጭቃ ያለበስከኝ አንተ ነህ?»

«አዎ የኔታ፣ ይፍቱኝ።»

«ይፍታህ። እስቲ አንተው ንገረኝ።»

እውነቱን ነገርኳቸው። እዚህ ጤፍ አመላልሳለሁ፣ ወደ ጅቡቲ ተጠርቻለሁ፣ ገና አልወሰንኩም። አጎቴ በረጅሙ ተነፈሰ።

«ጅቡቲ ምን ፈልገህ ነው?» አሉ የኔታ። ስለ ትልቁ መኪና፣ ስለ ክብሩ ልናገር አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ባሕር አለ ይላሉ። አይቼ አላውቅም።»

የኔታ ሳቁ፤ ጢማቸው ላይ የተለጠፈው ጭቃ ተንጠባጠበ። «እኔም ቅኔ ፍለጋ ስወጣ እናቴ አልቅሳ ነበር። ባልወጣ ኖሮ ዕድሜዬን ሙሉ መንገድ መንገዱን ሳይ እኖር ነበር። ሂድና እየው። መስቀል ሲያልፍ ተመለስ። ያኔ መልስህን ስጠኝ፣ እኔም መልሴን እሰጥሃለሁ።» ከበሩ በስተጀርባ የሴት ሳቅ ሰማሁ፤ የማን እንደሆነ ለማወቅ መዞር አላስፈለገኝም።

ከአጎቴ ጋር ሄድኩ። የአፋርን በረሃ ሳቋርጥ እንደ ልጅ አንገቴን ከመስኮት አላስገባሁም። ጅቡቲ ደርሰን መኪናው የጭነት ተራ ሲጠብቅ አጎቴን ጎትቼ ወደ ባሕሩ ዳር ወሰድኩት። ውኃው ማለቂያ የለውም። ደስታዬ እንዴት እንደነበረ ዛሬም መናገር ያቅተኛል፤ ጫማዬን አውልቄ ገባሁበት፣ ቀመስኩት፣ ተፋሁት፣ ሳቅሁ።

«ጋሼ፣ አንተማ ስንቴ አይተኸዋል!»

«ከመኪና ወርጄ?» አለና ቆየ። «ይኼ የመጀመሪያዬ ነው። ሁልጊዜ ተራዬ እንዳያልፍ ነበር የማየው።» መነጽሩን አወለቀ። ለካ ዓይኑ ቁርጥ የእናቴ ዓይን ነው። ያንን ሁሉ ባሕር እያየሁ የምፈልገው ለመምህርቷ መንገር ብቻ ነበር፤ እሷ ግን ከበረሃውና ከዓባይ ወዲያ ማዶ ናት። ለእሷ አንድ ዛጎል አንሥቼ ኪሴ ከተትኩ። መልሴንም እዚያው አገኘሁ።

መስቀል እንዳለፈ ደብረ ወርቅ ሄድኩ፤ ያን ጊዜ መንገዱ ደርቆ ነበር።

«አየኸው?» አሉ የኔታ።

«አየሁት። በጣም ያምራል። አንድ ጊዜ ይበቃኛል።»

በጥር ተጋባን። አጎቴ ሠርጉ ላይ «እንግዲህ ይኼ ዶሮ ቆጡን አገኘ» እያለ ሲፎክር ዋለ። እኔም ጤፌን ማመላለሴን ቀጠልኩ።

በተከታዩ ዓመት ክረምት ሚስቴ የመጀመሪያ ልጇን ለመውለድ ደብረ ወርቅ እናት አባቷ ቤት ገብታ ነበር። በገበያ ቀን መኪናዬ ላይ ጤፍ ጭኜ ስጨርስ ምጧ እንደመጣና ጤና ጣቢያው ወደ ማርቆስ ሆስፒታል ውሰዷት እንዳለ ነገሩኝ። መኪናዋን አብርሬ የየኔታ በር ላይ አቆምኩ። ጭቃው ያው የድሮው ጭቃ ነው፤ ጤፉ ግን ከኋላ ስለተጫናት መኪናዋ ቀጥ ብላ ወጣች። የኔታ ዳዊታቸውን ይዘው በመስኮቱ በኩል ተቀመጡ፣ እሷን መሐል አደረግናት። ሌላ ማንም አልጠየቀኝም፤ ቄስና ነፍሰ ጡር፣ ሕጉ ሞልቷል። አጎቴ ያን ቀን በረሃ ላይ ነበር። እኔም እዚያ ብሆን ኖሮ ብዬ አሰብኩና መሪውን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ።

ሴት ልጃችን ማርቆስ በደረስን ብዙም ሳይቆይ በሰላም ተወለደች። ያ ቀን ሲነሣ ቀድሞ ትዝ የሚለኝ ግን መንገዱ ነው። ምጡ ሲለቃት ሚስቴ ላቧን ጠርጋ ዞር ብላ አየችኝ።

«ይኸው፣ ጋቢና ደረሰኝ» አለች።

እጇን ማርሹን በያዘው እጄ ላይ አደረገች፤ ማርቆስ እስክንገባም አላነሣችውም። ማርሽ በቀየርኩ ቁጥር አብረን እንቀይር ነበር።